ለአማተር ባለሙያ፣ ለባለሙያ አማተር

ሥራ የጀመርሁት ኳስ በመልቀም ነው። ቡሬ አጠገብ ካምፕ የሠራ የውጭ አገር መንገድ ተቋራጭ የቀን ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ሰማሁና ከሽንዲ በጭነት መኪና መጣሁ። ትምህርቴን ጨርሼ ውጤት ያልመጣልኝ ጎረምሳ ነበርሁ። ድንጋይ ለመሸከም፣ ሬንጅ ለማፍላት ተዘጋጅቼ ነበር። የካምፑ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ አቶ ጌትነት ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና እንግሊዝኛ ትሰማለህ ወይ አሉኝ። እሰማለሁ አልሁ። በል ባልዲ ያዝና ከካምፑ ጀርባ ሂድ፣ ዋናው መሐንዲስ የሚመታውን ልቀም አሉኝ።

ከካምፑ ጀርባ የግጦሽ ሜዳ ነበር። ዋናው መሐንዲስ ሚስተር ሀን ይባላል፤ አጭር፣ ቁጡ ሰው ነው። ቀኑን በሠራተኛ ላይ ሲጮህ ይውልና ፀሐይ በረድ ሲል እዚያ ቆሞ ትናንሽ ነጭ የጎልፍ ኳሶችን በብረት ዱላ አንድ በአንድ ይሰዳቸዋል። እኔ እሮጣለሁ፣ እለቅማለሁ፣ በባልዲ እመልሳለሁ። የአገሬ ልጆች ዶዘር ላይ ሲወጡ እኔ እንቁላል እንደሚለቅም ሰው ጎንበስ ቀና ስል መታየቴ አንገበገበኝ። ያን ቀን ነገ አልመለስም ብዬ ነው የተኛሁት። በማግሥቱ ግን ሌላ ሥራ አልነበረምና ተመለስሁ።

ብዙም ሳይቆይ ሜዳው ላይ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፣ በየጉድጓዱም ባንዲራ ተተከለ። እኔም ካዲ ሆንሁ። ካዲ የተጫዋቹን ቦርሳ ይሸከማል፣ ርቀት ይነግራል፣ ዱላ ያቀብላል። ቦርሳው ውስጥ ለሩቅ ምት የሚሆነው ጭንቅላቱ ትልቅ የሆነ ዱላ፣ በቁጥር የሚጠሩት ብረቶች፣ ኳሷን ወደ ጉድጓዱ የሚያንከባልለው ፓተር አሉ። ተጫዋቹ ሲመታ ካዲ አይናገርም፣ አይንቀሳቀስም፣ ጥላውንም በኳሷ መንገድ ላይ አይጥልም። ይህን ሁሉ ሚስተር ሀን በጩኸት አስተማረኝ።

ሜዳው የማን ነው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። አያ ስማቸው የሚባሉ ከአገው ወገን የሆኑ ሽማግሌ ከብቶቻቸውን ከድሮ ጀምሮ እዚያ ያሰማሩ ነበር። አንድ ቀን የሚስተር ሀን ኳስ ላማቸውን ከዓይኗ ሥር መታት። ላሚቱ ተንበርክካ ተነሳች፤ ፊቷ ወዲያው አበጠ። አያ ስማቸው በትራቸውን ተደግፈው መጡ። አቶ ጌትነት ከሁላችንም ቀድመው ደርሰው፣ የአባታቸውን ታላቅ የሚያህሉትን ሰው አንተ እያሉ፣ ከብት ለምን ወደ ስፖርት ሜዳ አስገባህ ብለው ይቆጧቸው ጀመር።

አያ ስማቸው ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ላሚቱ ወደ ሜዳችሁ አልገባችም ጌታው» አሉ። «ሜዳችሁ ነው ወደ ላሚቱ የገባው።»

ሚስተር ሀን ምን አሉ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። አቶ ጌትነት በአማርኛ፣ ይቅርታ ጠየቁ በለው አሉኝ። ደሜ ፈላ። ሽማግሌው ያሉትን እንዳሉት አድርጌ ተረጎምሁለት። ሚስተር ሀን ኮፍያውን አውልቆ ለሽማግሌው ጎንበስ አለ። ለላሚቱ ሐኪም ተጠራላት። ከዚያ ወዲያ ከብቶቹ ጠዋት ይግጣሉ፣ እኛ ከሰዓት በኋላ እንጫወታለን ተባለ። ለሣሩም የተሻለ ሆነ፤ የላም ጥርስ ያሳጠረውን ሣር የሚያህል የጎልፍ ሜዳ በኋላም ብዙ አላየሁም። አቶ ጌትነት ግን ያችን ትርጉም አልረሱልኝም። ካምፑ እስኪዘጋ ድረስ ዕድገት በመጣ ቁጥር ስሜን ዘለው ያልፉ ነበር።

ዱላ እንድይዝ የፈቀደልኝ ሚስተር ሀን ነው። አብሮት የሚጫወት ሰው ሲያጣ ሰባት ቁጥር ብረት ሰጠኝና ምታ አለኝ። የገና ጨዋታ ስጫወት ያደግሁ ስለሆንሁ ይህስ አያቅተኝም ብዬ ነበር። ለካ ያ ልማድ ነው የሚያጠፋኝ። ገና ላይ ሩሯን እያሳደድህ፣ ከሰው ጋር እየተጋፋህ፣ በጉልበትህ ነው የምትለጋት። ጎልፍ ላይ ኳሷ ቆማ ትጠብቅሃለች፣ የሚጋፋህም የለም፤ በጉልበት ከመታሃት ጫካ ትገባለች። እጄን ከገና ለማላቀቅ አንድ ክረምት ሙሉ ፈጀብኝ። በጭቃ ውስጥ፣ ጆንያ ደርቤ፣ ግማሽ ምት ብቻ እየመታሁ ነው የከረምሁት። መስከረም ሲጠባ ኳሷ ወደምላት መሄድ ጀመረች።

በሚቀጥለው ዓመት ሚስተር ሀንን አሸነፍሁት። ዱላውን መሬት ላይ ወረወረና ሄደ። በማግሥቱ መጥቶ እንደገና አለኝ። እንደገና አሸነፍሁት። ሦስተኛውን ቀን ሳቀ። መንገዱ አልቆ ወደ ኬንያ ሥራ ሲዛወር የራሱን ዱላዎች ከነቦርሳቸው ሰጠኝ፤ ከሸጥሃቸው እሰማለሁ ብሎም አስጠነቀቀኝ።

ቡሬ ላይ ካምፑ ሲፈርስ ባሕር ዳር ሄድሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ዛሬ የሌለ፣ ተቋራጮችና ነጋዴዎች በኪራይ መሬት ያቋቋሙት የጎልፍ ክበብ ነበር። በካዲነት ተቀጠርሁ። ካዲዎች መጫወት የሚፈቀድልን አባላት በማይመጡበት ቀን ብቻ ነው። አባላት ስተው የሚያጠፏቸውን ምቶች የማርመው እኔ ስለሆንሁ ግን ቀስ በቀስ ሁሉም እኔን ይፈልግ ጀመር። ቦርሳውን ዓመት ሙሉ የተሸከምሁለት አንድ ወጣት ነጋዴ ነበር። አያያዙን ያስተካከልሁለት፣ አቋቋሙን ያስያዝሁት እኔ ነኝ። ጥሩ ልጅ ነው፤ በእሱ ቅር አይለኝም።

ክበቡ ለገንዘብ ለማይጫወቱ ሰዎች የአማተር ሻምፒዮና አዘጋጀ። ለማንኛውም ተጫዋች ክፍት ነው ተብሎ በር ላይ ተለጠፈ። የኮሚቴው ጸሐፊ አቶ ሰሎሞን ነበሩ፤ በከተማው የተከበሩ፣ ንግግራቸው የለሰለሰ ሰው ናቸው። እኔም መጫወት እችላለሁ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ለምን አትችልም አሉኝ። ተመዘገብሁ። ውድድሩ ሁለት ቀን ነበር፤ በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። የመጀመሪያውን ቀን መሪ ሆኜ ጨረስሁ፤ ሁለተኛ የሆነው ያ ወጣት ነጋዴ ነው፤ እሱም በብዙ ምት ርቆ። ካዲዎቹ ሁሉ ያን ቀን ማታ በደስታ ሰከሩ።

በማግሥቱ ጠዋት መነሻው ቦታ ላይ ቆሜ ስሜን ጠበቅሁ። ስሜ አልተጠራም። አቶ ሰሎሞን ትከሻዬን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝና ደንብ አለ አሉኝ፤ ቦርሳ ተሸክመህ ደመወዝ ስለምታገኝ ባለሙያ ነህ፣ ባለሙያ ደግሞ በአማተር ውድድር አይገባም። ትናንት ለምን አልነገሩኝም ብል፣ ትናንት የተቃወመ ሰው አልነበረም አሉ። መጀመሪያ እኔ እንደምመራ ማን ጠርጥሮ! ዋንጫውን ወጣቱ ነጋዴ ወሰደ። ተቀብሎ ሲወርድ ወደ እኔ አላየም፤ ያፈረ ይመስለኛል።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ደንብ ነው ብዬ እውጠው ነበር። በዚያው ሰሞን ናይሮቢ ለሚደረግ የባለሙያዎች ውድድር ክበቡ አንድ ሰው እንዲልክ ተጋበዘ። አቶ ሰሎሞን ቢሮ ገባሁና እንግዲያው ባለሙያ ነህ ብላችሁኛልና እኔን ላኩ አልኋቸው። ወንበራቸው ላይ ተደግፈው በለሰለሰ ድምፃቸው እንዲህ አሉኝ፦

«አንተ እኮ ባለሙያ አይደለህም። ባለሙያ ፈተና አልፎ ካርድ ያገኘ ሰው ነው። አንተ ካዲ ነህ።»

«ታዲያ ያን ዕለት ምን ነበርሁ?»

«ያ ሌላ ጉዳይ ነው» አሉ።

ለአማተር ሲሆን ባለሙያ፣ ለባለሙያ ሲሆን አማተር። ቦርሳ ለመሸከም ሲሆን ደግሞ ማንም ስሜን አላጣውም። ቢሮው ውስጥ ያሉት ሰዎች ምንም ነውር እንዳልተናገሩ ሁሉ ወረቀታቸውን ያገላብጡ ነበር። ሰድበውኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የካዲ ሰደርያዬን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ።

ወደ ፍኖተ ሰላም ሄጄ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ሥራ ያዝሁ። በእረፍት ቀኔ ቦርሳዬን ተሸክሜ ቡሬ እወርዳለሁ። ካምፑ ፈርሷል፤ ሜዳው ግን አለ፤ ከብቶቹም አሉ። አያ ስማቸውን ልጫወት ብዬ አስፈቀድኋቸው። የክበቡን ታሪክ ስነግራቸው ሳያቋርጡኝ ሰሙኝና፣ እኔም በዚህ አገር ግብር ሲሆን ገበሬ ነህ፣ ስብሰባ ሲሆን ደግሞ ማን ጠራህ እባላለሁ አሉኝ። ከዚያ ላሞቹን ወደ ዳር ነድተው ሜዳውን ለቀቁልኝ።

ሁለት ዓመት ያህል እዚያ ተለማመድሁ። ከዚያ በአንድ በጋ ስመጣ ሜዳው በሽቦ ታጥሯል። ለባለሀብት ተሰጥቷል፣ ፋብሪካ ይሠራበታል የሚል ሰሌዳ ቆሟል። ከብቶቹ ከሽቦው ውጭ ቆመው ወደ ውስጥ ያያሉ። አያ ስማቸውና ሌሎች ገበሬዎች ለአቤቱታ ሲሄዱ አብሬያቸው ሄድሁ። የተቀበለን ወጣት ኃላፊ ሽማግሌዎቹን በቅጡ ሳያስቀምጥ ልማት ነው አላቸው። እኔ ስናገር ደግሞ ሳቀ። ጎልፍ የሀብታም ጨዋታ ነው፣ አንተ ከላም ጋር ምን ልትጫወት ነው አለኝ። አፌን ብከፍት ኖሮ ታስሬ እወጣ ነበር። ፋብሪካው አልተሠራም። ሽቦው ዝጎ፣ ምሰሶው በስብሶ እስኪወድቅ ድረስ እዚያ ቆመ፤ አያ ስማቸውም ያን ሳያዩ ዐረፉ።

እኔ ሽንዲ ወንድሜ ዘንድ ሄድሁ። አጨዳ አልቆ እህሉ ሲነሳ የጤፉ ማሳ ባዶ ይሆናል። ወንድሜ ጎረቤቶቹን አስፈቀደልኝና በቃርሚያው፣ ታጭዶ በቀረው አገዳ ላይ መምታት ጀመርሁ። ቃርሚያ ላይ የተቀመጠች ኳስ ክፉ ናት፤ ዱላህ ትንሽ ዝቅ ካለ አፈሩን ነው የምታነሳ። ሰዎች ቆመው ያዩኝ ነበር። አንዳንዶቹ አብዷል አሉ። ወንድሜ ግን ሥራ ላይ ነው ይላቸው ነበር። ይህን የሰማሁት በኋላ ነው፤ እስከ ዛሬም አልረሳውም።

ሞባይል በየገጠሩ በገባበት ሰሞን ሚስተር ሀን ስልኬን ከቀድሞ የካምፕ ሾፌር አግኝቶ ደወለልኝ። ዱላዎቹን ሸጥሃቸው ወይ አለ፤ ሰላምታው ይኸው ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርሁት። እዚህ ኬንያ የባለሙያ ፈተና አለ፣ የሚጠይቁህ ምን ተብለህ እንደምትጠራ ሳይሆን በስንት ምት እንደጨረስህ ነው፣ ና አለኝ። በአውቶቡስ በሞያሌ አቋርጬ ሄድሁ። ፈተናው ሁለት ዙር በአንድ ቀን ነው። ጠዋት ከፍርሃት የተነሳ በደንብ አልተጫወትሁም። ከሰዓት በኋላ ግን ሣሩን አየሁት፤ ልስልስ ያለ፣ ኳሷን ከፍ አድርጎ የሚያስቀምጥ ሣር ነው። ቃርሚያ ላይ ለኖረ ሰው ያ አልጋ ነው። አለፍሁ። ካርዱን ሲሰጡኝ አገርህ የት ነው አሉኝ፤ ጨዋታውን የተማርሁበት ነውና ቡሬ አልኋቸው። ጻፉት።

ካርዱን ይዤ ስመለስ ከባሕር ዳሩ ክበብ ጥሪ ደረሰኝ። ግብዣ አዘጋጅተው፣ ካዲዎችንም አባላትንም ሰብስበው ነበር። አቶ ሰሎሞን ቆመው ክበባችን ያፈራው ባለሙያ አሉና ፎቶ እንድንነሳ እጃቸውን ዘረጉልኝ። እጃቸውን ጨበጥሁ፤ ትልቅ ሰው ናቸው። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ አድርጌ ጠየቅኋቸው።

«አቶ ሰሎሞን፣ ያን ጊዜ አማተር ከነበርሁ ዋንጫውን ለምን ነጠቃችሁኝ? ባለሙያ ከነበርሁ ናይሮቢ ለምን አልላካችሁኝም? ከሁለቱ አንዱን ይምረጡልኝ።»

ያለፈውን እንተወው፣ ዛሬ የደስታ ቀን ነው አሉ። አልተውም አልሁ፤ ከሁለቱ አንዱን ሳይመርጡ ፎቶ አልነሳም። ያ ወጣት ነጋዴ ከኋላ ተነሳና ዋንጫው የእሱ ነበር ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ፤ ይህን ለመናገር ዓመታት ፈጅቶበታል፣ ቢሆንም ተናገረው። አቶ ሰሎሞን አልመረጡም። ፎቶው ሳይነሳ ቀረ፤ እኔም ግብዣቸውን ሳልበላ ወጣሁ።

ዋንጫው አልተመለሰልኝም። በሚቀጥለው ሻምፒዮና ግን ካዲዎች ራሳቸው ተሰብስበው ኮሚቴውን አማተር ነን ወይስ ባለሙያ ብለው ቀድመው ጠየቁ። አማተር ናችሁ የሚል መልስ በአባላት ፊት አገኙና ተጫወቱ። አንዱም ሦስተኛ ወጣ። እኔ ከዚያ በኋላ ጉልበቴ እስኪደክም ድረስ በባለሙያነት ተወዳደርሁ፣ አስተማርሁም። ያማሩም ያላማሩም ውጤቶች አሉኝ። ንዴቴ ግን አልበረደም፤ እንዲበርድም አልለመንሁም።

ሜዳ ላይ የመታሁትን የካደኝ ሰው የለም። የካዱኝ ምን ተብዬ እንደምጠራ ነው። ስለዚህ ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምለው ይህ ነው፦ ከመጫወታችሁ በፊት በምን ስም እንደምትጫወቱ ጠይቁ፤ መልሱንም ሰው በተሰበሰበበት ተቀበሉ።