አምስት ችግኝና አንድ መብራት

የትነበርሽ ስትናደድ ድምፅዋ አይጮኽም፤ ይወርዳል። ብዙ ዓመት አብሬያት ስለሠራሁ አውቃለሁ። ሁለታችንም ዴን ሃግ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርን አረጋውያንን የምንንከባከብ ሠራተኞች ነን። እናጥባለን፣ እናለብሳለን፣ ካልሲ እናጠልቃለን፣ መድኃኒታቸውን እንሰጣለን። አንድ ጊዜ አእምሯቸው የደከመ ሽማግሌ በጥፊ ሲያጮሏት፣ «ውኃው ቀዝቅዞብዎት ነው፣ አይደል?» ብላ ቧንቧውን አስተካክላ ማጠቧን ቀጠለች። እንግዲህ እንዲህ ያለችውን ሴት ነው ዕፅ አምራች ያሏት። አሁንም ሳነሣው ደሜ ይፈላል።

ባሏ ሙሉነህ ዕድሜውን ሮተርዳም ወደብ ላይ የሠራ፣ ትከሻው ሰፊ፣ በጉባኤያችን መዘምራን መካከል ወፍራሙን ድምፅ የሚይዝ ሰው ነበር። ኤም ኤስ የሚሉት የነርቭ በሽታ ያዘው። መጀመሪያ እግሩ ከበደው፤ ቀጥሎ ዱላ ያዘ፤ ቀጥሎ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ዋለ። ከሁሉ የከፋው ጡንቻው ሲኮማተር ነው። ጉልበቱ ወደ ደረቱ ይሳባል፣ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፤ ያ ግዙፍ ሰው እንደ ሕፃን ያለቅሳል። የታዘዘለት ክኒን ሁሉ ወይ አይሠራለትም፣ ወይ ቀኑን ሙሉ አደንዝዞ አፉን ከፍቶ ያስቀምጠዋል።

በመጨረሻ የነርቭ ሐኪሙ ከካናቢስ የተሠራ ዘይት አዘዘለት። ከምላስ ሥር ጠብ የሚደረግ ነው። ሠራለት። ጥቂት እንደተጠቀመ ግን የጤና መድኅኑ «ይህ ከምንሸፍናቸው መድኃኒቶች ውስጥ የለም» አለ። የአንዲት ተንከባካቢ ደመወዝ ደግሞ አይችለውም። ሐኪሙ አዟል፣ ፋርማሲው አለው፣ በሽተኛው ያስፈልገዋል፤ ግን አያገኘውም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ አይደለም?

ሰው ሁሉ «ታዲያ ኮፊሾፕ ሂጂ» ይላታል። ኮፊሾፕ እዚህ አገር ካናቢስ በግልጽ የሚሸጥበት ቤት ነው፤ ቡናው ለስሙ ነው። ሄደች። የእሑድ ካፖርቷን ለብሳ፣ ጭሱ መሀል ቆማ፣ ሻጩን በትሕትና «ይሄ በምን አደገ? ምን ተረጨበት?» ስትል ጠየቀችው።

ሻጩ ሳቀ። «እመቤቴ፣ በፊት በር ስሸጥ ዝም ይሉኛል። በጓሮ በር ማን እንዳመጣው ግን መንግሥትም አይጠይቀኝም፣ እኔም አልጠይቅም።»

ከዚያ የገዛችው ሙሉነህን ቀኑን ሙሉ ሲያስለው ዋለ። ቀሪውን ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። «ምን ጠጥቶ እንዳደገ የማላውቀውን ነገር ለባሌ አልሰጥም» አለችኝ።

የትነበርሽ ከከተማው ዳር ጎመንና ድንች የምትተክልባት የኪራይ ቁራሽ መሬት አለቻት። የመሬት ጎረቤቷ ቲኔከ የምትባል፣ ጡረታ የወጣች ሆላንዳዊት አዋላጅ ናት። «ራስሽ አብቅዪው እንጂ» ያለቻት እሷ ናት። «ለራስ ከሆነ እስከ አምስት ግንድ አይከስሱም።»

የትነበርሽ ግን በሰው ወሬ የምትነዳ አይደለችም። የሠፈሩን ፖሊስ መንገድ ላይ አስቁማ ጠየቀችው። «ከአምስት ካልበለጠ፣ ካልሸጡ፣ ጎረቤትም ካልተረበሸ፣ ቢበዛ ቢበዛ ነቅለን እንወስዳለን እንጂ ፍርድ ቤት አናቆምዎትም» አላት። ፈገግ ብሎ ብስክሌቱን ነድቶ ሄደ።

ቤታቸው እዚያው ዴን ሃግ፣ ሙርዋይክ የሚባል ሠፈር ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተሠሩት የኪራይ ፎቆች በአንዱ። ሴት ልጃቸው ረሆቦት አምስተርዳም፣ ኒው ዌስት ወጥታ ስለምትኖር መኝታ ክፍሏ ባዶ ነበር። አምስቱ ችግኝ እዚያ ገቡ። መሬቷ ላይ እንዳትተክለው አላፊ አግዳሚ ይሰርቀዋል፤ በረንዳው ደግሞ ወደ ሰሜን የዞረ ነው፤ ፀሐይ አያውቅም። ከሥሩም የሠፈር ልጆች ይጫወታሉ። ስለዚህ መስኮቱን ጋርዳ አንድ መብራት ሰቀለች።

ክፍሉን በዓይኔ አይቼዋለሁ። የትነበርሽ የወላይታ ልጅ ናት፤ እናቷ በየማለዳው የከብቱን እበት ተሸክማ እንሰቱ ሥር ስትበትን እያየች ያደገች። ኬሚካል ማዳበሪያ በዚያ በር አልገባም። በሳጥን የምድር ትል ታረባለች። ትሎቹ የድንች ልጣጩንና የጎመን አንጓውን በልተው ጥቁር፣ ለስላሳ አፈር ይሰጧታል። ያንን በጨርቅ ቋጥራ የዝናብ ውኃ ባልዲ ውስጥ ትዘፈዝፈዋለች፤ ጥቂት ሞላሰስ ጨምራ፣ ለዓሣ ገንዳ የሚሸጠውን ትንሽ አየር መንፊያ ትከትበታለች። ባልዲው ሲንፎለፎል ያድርና ጠዋት ቡናማ አረፋ ይደፍቃል። የኮምፖስት ሻይ ነው የሚሉት። ይህንኑ በኩባያ እየቀዳች ታጠጣቸዋለች። «አፈር አፈር ከሸተተ ሕይወት አለው፤ ከገማ ሞቷል፣ ይደፋል» ትለኝ ነበር። ትል ይዛ ስትስቅ፣ ከስንት ዓመት በኋላ ነው ሳቋን የሰማሁት።

ሲደርስ ቆርጣ፣ አድርቃ፣ በወይራ ዘይት ታዘጋጀዋለች። ሙሉነህ ቀስ በቀስ ተፈታ። እግሩ መወራጨቱን ተወ። ማንኪያ በራሱ እጅ ያዘ። አንድ እሑድ ጉባኤ መጥቶ እስከ መጨረሻው ተቀመጠ፤ ዘመረም። ያ ድምፅ ከተሽከርካሪ ወንበሩ ሲነሣ አዳራሹ በለቅሶ ተናጠ።

የጉባኤያችን ሽማግሌ ወንድም ፈቃደ ማይክሮፎኑን ይዘው ተነሡ። «እህት የትነበርሽ፣ ነይ! ጌታ ያደረገውን መስክሪ!»

ወጣች። «ጌታ ጸሎታችንን ሰምቷል» አለች። ሰው አጨበጨበ። «የሰማን ራሱ በፈጠረው ቅጠል ነው። ካናቢስ ነው። ቤቴ አብቅዬ እኔው ነኝ የምሰጠው። እዚህ ቆሜ አልዋሽም።»

ጭብጨባው እንደተቆረጠ ገመድ ቀረ። ማይክሮፎኑን ከእጇ ወሰዱት። «ሃሌ ሉያ» ሲል የነበረ ሰው ጫማውን ያይ ጀመር።

በሳምንቱ ወንድም ፈቃደ ቤቷ ድረስ መጡ። እኔም ነበርኩ። ሙሉነህ አጠገባቸው ተቀምጦ ሳለ እንደ ዕቃ ቆጥረውት ከእሷ ጋር ብቻ አወሩ።

«እህቴ፣ ወጣቶቻችን ምን ይላሉ? ንቀዪው።»

«ወንድም ፈቃደ፣ አምና ለቀዶ ሕክምናዎ ሞርፊን ወስደው የለ? እሱስ ከኦፒየም አበባ የሚሠራ አይደል?»

«እሱ የሐኪም ነው።»

«ይሄንንም ሐኪም ነው ያዘዘው።»

«ከሐኪም እጅ ሲመጣ ሌላ ነው።»

ድምፅዋ ወረደ። «አባቴ የትነበርሽ ብሎ ስም ሲያወጣልኝ ጥያቄው ለእኔ ነበር። ዛሬ እኔ ልጠይቅ። ይሄ ሰው መታጠቢያ ቤት ወድቆ ብቻዬን ስጎትተው፣ እናንተ የት ነበራችሁ?»

ተነሥተው ወጡ። መልሱ በእሑድ መጣ፤ ከሕፃናት አስተማሪነት አነሷት። ያን ሁሉ ዓመት ልጆቻቸውን ያስተማረችውን ሴት፣ «ለልጆቻችን እንሰጋለን» አሏት።

ክረምቱ ሲቃረብ ከሥራቸው ያለው ቤት ጣሪያ ማንጠባጠብ ጀመረ። ያፈሰሰው ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ አሮጌ ቧንቧ ነው፤ በኋላም ይኸው ተረጋግጧል። ፎቁን የሚያከራየው የቤት ኮርፖሬሽን የላከው ቧንቧ ሠራተኛ ግን ቧንቧ ሲከተል የረሆቦትን ክፍል ከፈተ። አይቶ ዘጋና ስልኩን አወጣ። ከሰዓት በኋላ የኮርፖሬሽኑ ተቆጣጣሪና ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ነበሩ።

የትነበርሽ ሁሉንም አሳየቻቸው። የሐኪሙን ትእዛዝ፣ ባሏን፣ ችግኙን። «ቁጠሩት፤ አምስት ነው» አለቻቸው።

ተቆጣጣሪው ቁጥሩን አልፈለገም። መብራቱን አየ፣ መብራቱን የሚያበራውንና የሚያጠፋውን ሰዓት አየ፣ ባልዲው ውስጥ የሚንፎለፎለውን መንፊያ አየ። «መብራትና ማሽን ካለ የቤት አትክልት አይባልም። ይህ ፕሮፌሽናል ነው» አለ።

«ምኑ ነው ማሽን? የዓሣ መንፊያ እኮ ነው! መብራቱንም የሰቀልኩት ፀሐይ ስለሌላችሁ ነው!»

ነቀሉት። አምስቱንም ከነሥራቸው ጥቁር ላስቲክ ውስጥ አጎሩት። የትሎቹን ሳጥን ሳይቀር ገልብጠው ከቆሻሻ ጋር ጣሉት። ትል ምን በደለ? ሙሉነህ ከወንበሩ ሆኖ «እባካችሁ የዘንድሮውን እንኳ ተዉልኝ» ሲል አንደኛው ወጣት ፖሊስ ፊቱን አዞረ። አፈረ መሰለኝ። ቢያፍርም ላስቲኩን ተሸክሞ ወረደ።

ከዚያ ኮርፖሬሽኑ የኪራይ ውሉ ፈርሶ ከቤት እንዲወጡ ፍርድ ቤት ከሰሳቸው። ረሆቦት ከአምስተርዳም እየበረረች መጣች። እናቷ በስልክ ተቆጣጣሪውን ይቅርታ ስትጠይቅ ደርሳ ስልኩን ቀማቻት።

«ማማ፣ ዲት ካን ኒት! አይሆንም! አንቺ ምን አድርገሽ ነው ይቅርታ የምትዪው?» ጠበቃ ያገኘችው እሷ ናት።

ችሎቱ ላይ የኮርፖሬሽኑ ጠበቃ ስለ እሳት አደጋ፣ ስለ ተደራጀ ወንጀል፣ ስለ ሠፈሩ ደኅንነት ተናገረ። ከፍርድ ቤቱ ትንሽ መንገድ ሄድ ብሎ ያለው ኮፊሾፕ በዚያችው ሰዓት ደንበኛ ያስተናግዳል። ስለ እሱ የተነሣ ነገር የለም። ዳኛዋ በመጨረሻ ወደ ሙሉነህ ዞረው የሚናገረው እንዳለ ጠየቁት። ሰውነቱ እንደገና መድረቅ ጀምሮ ስለነበር ቃሉ እየተቆራረጠ ነው የወጣው።

«ክብርት ዳኛ፣ ሚስቴ ቀን ቀን የእናንተን እናቶች ታጥባለች። ማታ እኔን ታጥባለች። እሷን መንገድ ላይ ብታወጧት፣ ነገ እናንተን ማን ያጥባችኋል?»

ፍርዱ መጣ። ከቤት አይወጡም። ነገር ግን ካናቢስ ቤት ውስጥ ማብቀልን የሚከለክለው የኪራይ ውሉ አንቀጽ የጸና ነው፤ አንድ ግንድ እንኳ ዳግመኛ ቢገኝ ያኔ ይወጣሉ። እንግዲህ ተፈረደልን ብለን እንሳቅ ወይስ ተፈረደብን ብለን እናልቅስ? ጣሪያውን ተዉላቸው፣ መድኃኒቱን ወሰዱባቸው።

ያንን ክረምት ሙሉነህ እንዴት እንዳለፈው እግዚአብሔር ያውቃል። ጉልበቱ ወደ ደረቱ ተመለሰ። እሷም ስታነሣውና ስታስተኛው ወገቧ ተቀጨ። የሰውን ወላጅ ስትጦር የኖረች ሴት ባሏን መጦር አቃታት፤ ሮተርዳም ቦታ ተገኝቶ መጦሪያ ቤት አስገቡት። በገባበት ቀን አብሬያት ሄጄ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ የመጦሪያ ቤቱ ወጣት ሐኪም በደስታ ጠራት። «ለባለቤትዎ መድኃኒት ጀምሬላቸዋለሁ። እዚህ ለተኛ ሰው ወጪውን የሚችለው ተቋሙ ነው» ብሎ ትንሽ ጠርሙስ አሳያት።

ያው ዘይት ነበር።

«ንጹሕ ነው፣ አይስጉ» አላት። «በመንግሥት ፈቃድ፣ መስኮት በሌለው ቤት ውስጥ፣ በመብራት ብቻ ነው የሚበቅለው።»

«በምን?»

«በመብራት።»

መጀመሪያ ሳቀች። ነርሶች ከየክፍሉ ብቅ እስኪሉ ሳቀች። ከዚያ ኮሪደሩ ውስጥ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጣ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። ባሏ መድኃኒቱን ለማግኘት ከቤቱ መውጣት ነበረበት። የእሷ መብራት ወንጀል፣ የእነሱ መብራት ንጽሕና!

ሙሉነህ እንደገና ተፈታ። ማንኪያውንም ያዘ። የመሻሉ ወሬ ጉባኤ ደርሶ ኖሮ አንድ እሑድ ወንድም ፈቃደ ሊጠይቁት መጡ። ጠርሙሱን ከጠረጴዛው አንሥተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጸሎት ጀመሩ። «ጌታ ሆይ፣ ለሐኪሞች ጥበብን ስለሰጠህ፣ ስለዚህ መድኃኒት...»

«ይቁሙ፣ ወንድም ፈቃደ» አለች የትነበርሽ። «አሜን አልልም።»

ዓይናቸውን ገለጡ።

«መጀመሪያ የተጻፈበትን ያንብቡ።»

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፤ «ካናቢስ» ይላል። ጠርሙሱን እንደ ጋለ ነገር መልሰው አስቀመጡት። «ያው... ከሐኪም እጅ ነው» አሉ፣ ድምፃቸው ግን በዚያ ቀን እንደነበረው አልነበረም።

ሙሉነህ አንገቱን ቀና አደረገ። «እኔም አሜን አልልም። ሚስቴን በአዳራሽ አዋርዳችኋል፤ በአዳራሽ ይቅርታ ጠይቋት።»

«በሽማግሌዎች እንመክርበታለን» ብለው ካፖርታቸውን ለበሱ። እስካሁን እየመከሩ ነው። የትነበርሽም ወደዚያ አዳራሽ አልተመለሰችም፤ እሑድ እሑድ አምስተርዳም፣ ቢልመር ያለች ትንሽ ጉባኤ ትሄዳለች፤ እዚያ ለሚጠይቃት ሁሉ ነገሩን ሳትደብቅ ትናገራለች።

አሁን የያዘችው ትግል ባሏን ወደ ቤቱ መመለስ ነው። ለዚያ ደግሞ መድኅኑ ዘይቱን ቤትም ሊሸፍንላት ይገባል። ቲኔከ ደብዳቤ ትጽፍላታለች፣ ረሆቦት ትከራከርላታለች፣ እሷ ደግሞ ሥራ መሀል ባለው ዕረፍቷ ትደውላለች። ባለፈው አጠገቧ ቆሜ ነበር። ከመድኅኑ ያነጋገራት ሰው ደንቡን ከላይ እስከ ታች አነበበላትና ሲጨርስ፣ እንደለመዱት፣ «ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?» አላት።

«ሌላ?» አለች የትነበርሽ። «የመጀመሪያውን መች ረዱኝና!»