የተኳሿ ካሳ

በልብስ ስፌት ቤቱ ውስጥ ሰፊዎቹ ተቀምጠው ይሠራሉ፤ ቆማ የምትውለው እሷ ብቻ ነበረች። ከጠዋት እስከ ማታ ከረጅሙ ጠረጴዛ ፊት አትጠፋም፤ በግራ እጇ እርጥብ ጨርቅ፣ በቀኝ እጇ ካውያ። በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ደንበኛውም ሠራተኛውም «ተኳሿ» ነበር የሚላት። አንድ ጊዜ ኮቱን ሊወስድ የመጣ ሰውዬ፣ «ተኳሿ ትጠራ!» ሲባል ሰምቶ ጠመንጃ ያነገበች ሴት የምትወጣ መስሎት ወደ በሩ ፈትለክ አለ ተብሎ ስንት ዓመት ተስቋል።

ስፌት ቤቱ የአክስቷ ነው። እናቷ ስትሞት ገና ተማሪ ነበረች። አክስቷ ወስዳ አሳደገቻት፤ ትምህርቱ ግን እዚያው ላይ ቆመ። «ሰው እስካገኝ ድረስ ካውያውን ያዢልኝ» አለቻት። ሰው ሳይገኝ ልጅቷ ጎለመሰች። ደመወዝ የሚባል ነገር አልነበረም። ትበላለች፣ ከስፌት ቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ትተኛለች፣ ጫማዋ ሲያልቅ ጫማ ይገዛላታል። አንዳንዴ ስለ ገንዘብ ካነሳች፣ «ያንቺማ እኔ ጋ አለ፣ ምን አሳሰበሽ?» ትባላለች። እሷም አይከፋትም። የሥጋ ዘመድን ደመወዝ መጠየቅ ነውር ይመስላት ነበር። ከሆዷ የማይወጣው ሌላ ነገር ነው። አክስቷ ለደንበኛ ስታስተዋውቃት «የእህቴ ልጅ ናት» ትላለች እንጂ፣ ያን ሁሉ ዘመን አብረው ሲኖሩ አንድ ቀን «ልጄ» ብላት አታውቅም።

«ልጄ» የሚባለው አቡሽ ነበር። አቡሽ ፂሙ ደረቱ ላይ ሊደርስ ምንም ያልቀረው ሰው ነው፤ እቤት ግን ዛሬም አቡሽ ነው። እናቱ ያለቀ ልብስ ለደንበኛ የሚያደርስበት ሞተር ገዛችለት። መንጃ ፈቃዱ ግን «ዛሬ አወጣለሁ፣ ነገ አወጣለሁ» እየተባለ ሳይወጣ ቀረ።

የተተኮሰ ሱፍ አይታጠፍም። ሳጥን ውስጥ አይጨመርም፣ በገመድም አይታሰርም፤ አለዚያ የተኳሹ ድካም ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ ስፌት ቤቱ የራሱ አሠራር ነበረው። አቡሽ ይነዳል፤ ተኳሿ ከኋላው ተቀምጣ ልብሶቹን በመስቀያቸው እንደተንጠለጠሉ በአንድ እጇ ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ትይዛለች። ዝቅ ካለ ጫፉ ጭቃ ይነካል። በሌላው እጇ ደግሞ ነፋስ እንዳያውለበልበው የሱሪውን እግር ሰብስባ ትይዛለች። አቡሽን የምትይዝበት ሦስተኛ እጅ የላትም። የሰፈሩ ሰው ሲያያት፣ «ባለ ባንዲራዋ መጣች! ቁሙ!» እያለ ይቀልድባት ነበር። እሷም ትስቅ ነበር።

ያን ቀን የያዘችው የአንድ ሙሽራንና የሚዜዎቹን ሱፍ ነው። ካፊያ ጥሎ አባርቷል፤ አስፋልቱ ያብለጨልጫል። አቡሽ አንድ እጁን ለቆ ስልክ ያወራል።

«ኧረ በፈጠረህ ስልኩን ዝጋው!» አለችው።

«አንቺ ልብስሽን ያዢ!» አላት።

ጥጉ ላይ ሲታጠፍ ጎማው ከዳው። ሌላ ሰው ቢሆን ልብሱን ወርውሮ ያገኘውን ነገር ጨብጦ ይወድቅ ነበር። የእሷ እጅ ግን መስቀያውን አልለቀቀም። ሞተሩ ጉልበቷ ላይ ተጋደመ። በጀርባዋ አስፋልቱ ላይ ተዘርግታ፣ ክንዷ ግን ወደ ሰማይ ቀጥ እንዳለ ነበር። የተሰበሰበው ሰው ቀድሞ የተቀበላት ሱፎቹን ነው። አንዲት ጠብታ ጭቃ አልነካቸውም። ሙሽራውም በሰዓቱ ለብሶ ተሞሸረ።

ሆስፒታል አክስቷ ከትራፊክ ፖሊሱ ቀድማ ደረሰች። አብሯት ዋናው ሰፊ ነበር፤ ተኳሿ «ጋሼ» የምትለው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ጀርባ ለጀርባ ሆነው የሠሩ ሽማግሌ። አክስቷ አልጋው ላይ ጎንበስ ብላ እጇን ያዘቻት።

«ስሚኝ፣ አቡሽ መንጃ ፈቃድ እንደሌለው ታውቂያለሽ። ከደረሱበት ጎትተው ነው የሚያስገቡት። ሞተሩ ቆሞ ነበር በይ። ስወርድ አዳልጦኝ ነው በይ።»

«እትዬ፣ እግሬን እኮ…»

«እግርሽ የኔ ነው! ሕክምናሽ በኔ፣ የምትበይው የምትጠጪው በኔ፣ እስክሞት ድረስ! ጋሼ ይስማኝ!»

«ሰምቻለሁ» አለ ጋሼ፣ ባርኔጣውን በእጁ እያሻሸ።

ትራፊኩ መጣና ጠየቃት። ቆሞ ነበር አለች። አዳልጦኝ ነው አለች። «ማንም አልገጨሽም? ማንም ጥፋት የለበትም?» ሲላት፣ «ማንም» አለች። ሕመሙ ጥርሷን እያስነከሳት፣ ዘመዶቿን ከጉድ በማውጣቷ ውስጧ ደስ እንዳለው ትዝ ይላታል።

መጀመሪያ ላይ አክስቷ ቃሏን ጠበቀች። ሾርባ ይመጣል፣ ትራስ ይስተካከላል፣ አቡሽም በር ላይ ቆሞ «እንዴት አደርሽ?» ይላል። ጄሶው ሲወልቅ ግን ሐኪሙ ፊቱን ቋጠረ። አጥንቱ ጠሞ ነው የገጠመው። እንደገና ተከፍቶ ብረት ካልገባበት በቀር ቆሞ መሥራት የሚባል ነገር የለም አላት። ይህን ለአክስቷ ስትነግራት፣ «እስቲ ይሄ የሠርግ ወራት ይለፍ» አለቻት። የሠርጉ ወራት አለፈ። «እስቲ የተማሪዎቹ የደንብ ልብስ ይለፍ» አለቻት። እሱም አለፈ። አንድ ጠዋት በጠባቧ ክፍሏ ተኝታ ሳለ ከስፌት ቤቱ የካውያው እስትንፋስ ተሰማት፣ ፍስስስ ሲል። በክራንቿ እየተደገፈች ወጣች። በእሷ ጠረጴዛ ፊት ሌላ ሴት ቆማ ትተኩሳለች።

«ለጊዜው ናት» አለች አክስቷ፣ ዓይኗን ሳታነሳ።

ከዚያ የሴትዮዋ ፍራሽ መጣ። ተኳሿ ቁርጥራጭ ጨርቅ ወደሚከማችበት ጓዳ ተዛወረች።

ለሐኪም በሄደች ቁጥር የምታገኛት ነርስ ናት ነገሩን የቀሰቀሰችው። «ሥራ ላይ እያለሽ ነው የተጎዳሽው? ታዲያ ካሳ አትጠይቂም?» ብላ በነፃ የሚረዳ የሕግ ቢሮ ጠቆመቻት። ቢሮው ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን በመቀመጫዋ እየተሳበች ወጣችው። ጠበቃዋ ወጣት ሴት ናት፤ አጥንት ድረስ የምትጠይቅ።

«እኔ ልመና አልፈልግም፣ እህቴ» አለቻት ተኳሿ።

«ማን ለምኚ አለሽ? ይሄ እኮ መብት ነው። ጥፋተኛ ኖረም አልኖረም፣ ለአሠሪሽ ሥራ ስትሄጂ፣ በአሠሪሽ ሞተር ላይ ነው የተሰበርሽው። ለሕክምናሽም ላጣሽው ጉልበትም መካስ አለባት። ለትራፊኩ የዋሸሽው ነገሩን ያከብድብናል እንጂ አይገድለውም፤ እውነቱን እንናገራለን። ትልቁ ነገር ሠራተኛዋ መሆንሽን ማስረዳት ነው። በደመወዝ ታስረጃለሽ?»

«ደመወዝ የለኝም።»

«ውል?»

«ከአክስቴ ጋር ምን ውል አለኝ?»

ጠበቃዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሰውስ? ስትሠሪ ያየ፣ የሚመሰክር ሰው?»

ተኳሿ ፊቷ ፈካ አለ። «ሰውማ አለኝ! ጋሼ አለ!»

ከመክሰሷ በፊት አክስቷን አንድ ጊዜ ልታናግራት ሞከረች። እግሯ ብቻ እንዲታከምላት፣ ሌላ ምንም እንደማትፈልግ ነገረቻት። አክስቷ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «ክሰሽኝ ነው የምትይኝ? ያበላሁትን አፍ ነው የምፈራው? ክሰሽኝ!» አለች።

ጋሼን የምሳ ሰዓት ጠብቃ ብቻውን አገኘችው። የስፌት መኪናውን ዘይት እያጠጣ ነበር።

«ጋሼ፣ ያየኸውን፣ የሰማኸውን ብቻ ነው የምትናገረው።»

«ምን ማለትሽ ነው? ያን ሁሉ ዘመን ጀርባዬ ላይ ቆመሽ ስታቃጥዪኝ ኖረሽ፣ እኔ ያልመሰከርኩ ማን ሊመሰክርልሽ ነው?» አላት። «በእንፋሎትሽ እኮ ነው መላጣ የሆንኩት!»

ሳቀች። ከተሰበረች ወዲህ ከልቧ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያ በኋላ የቀጠሮውን ቀን አልፈራችውም።

የችሎቱ ክፍል ጠባብ ነው፤ አግዳሚው ወንበር ሲጥ ሲጥ ይላል። አክስቷ ጥቁር ሻርፕ ተከናንባ፣ ሐዘን የደረሰባት መስላ ገባች። አቡሽ ውጭ ሞተሩን አቁሞ ነው የገባው። ያን የፈረደበትን መንጃ ፈቃድ አውጥቶታል፤ የጠየቀው ስላልነበረ ተረጋግቶ ተምሮ አወጣው። የጠበቃዋን ንግግር ሲሰማ ጥፍሩን ያጸዳ ነበር። 

ዳኛው አክስቷን ጠየቁ። «ከሳሽ የእርስዎ ሠራተኛ ነበረች?»

አክስቷ ከወንበሯ ተነሳች። እንባዋ ቀደማት።

«ሠራተኛ? ክቡር ፍርድ ቤት፣ ልጄ እኮ ናት! ከማህፀኔ አልወጣችም እንጂ ልጄ ናት! ያጠብኳት፣ ያበጠርኳት ልጄ! ልጅ እናቷን ስላገዘች ደመወዝ ይከፈላታል? እርስዎ ቤት ይከፈላል?»

ተኳሿ ጆሮዋን ማመን አቃታት። አንዲት ሰከንድ፣ አንድ አፍታ ብቻ፣ ሆዷ ሙቅ ውሃ እንደፈሰሰበት ሆነ። ልጄ አለችኝ። ከዚያ ቃሉ ለምን እንደተባለ ገባት። በዘመኗ ሁሉ ስትጠብቀው የኖረችው ቃል የመጣው ካሳውን ሊያስቀር ነው።

ጋሼ ተጠራ። የክት ሱፉን ለብሶ ነበር። ሱሪው ላይ ሁለት መስመር ወጥቶበታል፤ አዲሷ ሴት አሳምራ አልተኮሰችለትም። ይህን ማየቷ ለራሷም ገረማት።

«ከሳሽን ያውቋታል?» አለች ጠበቃዋ።

«አዎ፣ እንዴታ።»

«ስፌት ቤቱ ውስጥ ሥራዋ ምን ነበር?»

ጋሼ መሬት መሬቱን አየ። «እ… ታግዛለች።»

«ምን ታግዛለች? በየቀኑ ስትተኩስ አልነበረም?»

«እኔ እንደ ቤተሰብ ነው የማውቃት። የቤት ልጅ ናት። ሲመቻት ትተኩሳለች።»

«ሆስፒታል ውስጥ ተከሳሽ ‹ሕክምናሽ በኔ› ብለው ሲምሉላት ሰምተዋል? ‹ሞተሩ ቆሞ ነበር በይ› ሲሏትስ?»

«ጆሮዬ ደካማ ነው፣ የኔ ልጅ። የስፌት መኪናው ጩኸት ገድሎታል።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ጋሼም ትንሽ ፈገግ ሊል ሲል ዓይኑ ከተኳሿ ዓይን ጋር ተጋጨና ፊቱን አዞረ። ልጆች አሉት፤ እንጀራው ያለው እዚያ ስፌት ቤት ነው። ይህን አላጣችውም። ቢሆንም፣ ዝም ብሎ ቢቀር ኖሮ ይሻላት ነበር። ያ በእንፋሎትሽ መላጣ ሆንኩ ያለው ሰው፣ ሲመቻት ትተኩሳለች አለ።

«የምትጨምሪው አለ?» አሏት ዳኛው።

ክራንቿን ተደግፋ ተነሳች። ያዘጋጀችው ብዙ ነገር ነበር፤ ሁሉም ጠፋባት።

«ልጄ ብላኝ አታውቅም» አለች። «ገና ዛሬ መስማቴ ነው።»

ዳኛው ጻፉት። «ሌላስ?»

«ሌላ የለኝም።»

ፍርዱ በሌላ ቀጠሮ ተነበበ። በከሳሽና በተከሳሽ መካከል የሥራ ግንኙነት መኖሩ አልተረጋገጠም፤ በመሆኑም ክሱ ውድቅ ሆኗል ተባለ። ጠበቃዋ «ይግባኝ አለን» ብላ ጆሮዋ ላይ ሹክ አለቻት። ከዚያ የሌላ ሰው መዝገብ ተጠራ።

ደጅ ላይ ሰው ተሰብስቦ ነበር። አክስቷ ሰዉን ገረፍ አድርጋ አየችና እጇን ዘረጋች። «ነይ በቃ ልጄ። የሆነው ሆኗል። ቤታችን እንግባ። ሰው መሳቂያ አታድርጊን።»

አቡሽ ሞተሩን አስነስቶ የኋላውን መቀመጫ በመዳፉ ቸብ ቸብ አደረገ። «ውጪ ላድርስሽ! ዛሬስ የምትይዢው ሱፍ የለም፤ እኔን ጥብቅ አድርገሽ ትይዣለሽ!» አለና ሳቀ። ክፉ ነገር የተናገረ አልመሰለውም።

ጨርቁ መሃል የተነጠፈው ፍራሿ ትዝ አላት። ከዚያ ሌላ ማደሪያ የላትም። ብትሄድ እራት ይቀርብላታል፤ «ልጄ» እየተባለች። ከእንግዲህ ሰው በሰማ ቁጥር «ልጄ» ትባላለች። ለመጮህ አቅም አልነበራትም፤ ለመሳደብም ልቧ አልተነሳም።

«እናንተ ቅደሙ እትዬ» አለች፣ እንደ ማንኛውም ቀን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔ ቀስ ብዬ እደርሳለሁ።»

አክስቷ እናትና ልጅ እየተባባሉ ሲሄዱ ሰዉ እንዲያይ ፈልጋ ነበርና ቅር አላት። ግን ሞተሩ ላይ ወጣች፤ ልጇን ወገቡን አቅፋ ሄዱ።

ጠበቃዋ ከኋላ ደረሰችባት። «የት ልታድሪ ነው?»

«እንጃ። ነርሷ ጋ ልጠይቅ ይሆናል።» ደረጃው ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ያን ይግባኝ ያልሽኝን ነገር ንገሪኝ እስቲ።»

ጠበቃዋ አጠገቧ ተቀመጠች። «አለ። ሌላ ምስክር መፈለግ ሊኖርብን ነው። ደንበኞችሽን አንድ በአንድ ማንኳኳት ነው። ደሞ አክስትሽን እንደገና ፊት ለፊት ማየት አለ። ትችይዋለሽ?»

ተኳሿ መልስ ከመስጠቷ በፊት የጠመመ እግሯን በሁለት እጇ አንስታ ደረጃው ላይ ዘረጋችው።

«ኮታቸውን ስተኩስላቸው የኖርኩትን ሰዎች ቤታቸውን አውቀዋለሁ» አለች። «ብቻ ፎቅ ላይ ያሉትን ለመጨረሻ እናድርጋቸው።»