በነጠላው ላይ የቀሩ አምስት ጣቶች

ባለፈው ኅዳር፣ ተማሪዎቼ ቤተ ሙከራ ውስጥ ጥጥ ሲያቀልሙ መብራት ጠፋ። ገና ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ይሁንና መስኮቶቹ በጥቁር መጋረጃ የተሸፈኑ ስለሆኑ ክፍሉ ጨለመ። ወጣቶች ጨለማና ሥራ መፍታት ሲገጥምላቸው የሚያደርጉት የታወቀ ነው፤ የመንፈስ ወሬ ጀመሩ። አንዱ በጣና ላይ ታንኳ ስለሚጎትት እጅ አወራ። ሌላው ያንኑ እጅ አጎቱ በዓይኑ አይቶታል አለ፤ አጎትህ በአረቄ ውስጥ ያላየው ነገር አለ ወይ ብለው ሣቁበት። በመጨረሻ አንዲት ልጅ ወደ እኔ ዞራ፣ “ዶክተር፣ እርስዎስ አይተው ያውቃሉ?” አለችኝ።

“አንድ ጊዜ አይቻለሁ፤ ማን እንደ ሠራውም አውቃለሁ” አልሁ።

ቀልድ መሰላቸው። እኔም አላረምኋቸውም።

እናቴ የሞተችው ዐሥራ አምስት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ነው። አባቴ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊ ነበር፤ የሌሊት ተራ ሲደርሰው ብቻዬን እንዳላድር ሲል፣ የካቶሊክ ደናግል ባሕር ዳር ውስጥ ወደሚያስተዳድሩት የልጃገረዶች ማደሪያ አስገባኝ። አብዛኞቻችን የኦርቶዶክስ ልጆች ነበርን። ደናግሉ ሃይማኖታችንን አልነኩም፤ እሑድ እሑድ ነጠላችንን አስለብሰው ወደየደብራችን ይሸኙን ነበር። ይህን የምጽፈው ፍትሕ ስለሚጠይቀኝ ነው። የበደለችኝ አንዲት ሴት ናት።

የማደሪያው ኃላፊ ሲስተር ሉቺያ ከእንሰት አገር የመጣች፣ ዝግ ብላ የምትናገር ወጣት መነኩሲት ነበረች። ያኔ እርስዎ እላት ነበር፤ እዚህ አንቱታውን ትቼዋለሁ። ከቀብር መልስ ምግብ እምቢ ባልሁ ጊዜ የዓሣ ሾርባ በማንኪያ ያጠጣችኝ እርሷ ናት። እስክተኛ ድረስ ከአልጋዬ ጠርዝ ተቀምጣ እጄን ትይዝልኝ ነበር። እጇ ሁልጊዜ ለመንበር ልብስ የሚቀባውን ስታርች ይሸት ነበር። ከእናቴ በኋላ ራሴን የዳሰሰኝ እጅ ሌላ አልነበረም።

ኅዳር በእነርሱ ዘንድ ሙታን የሚታሰቡበት ወር ነው። ከመቁጠሪያ ጸሎት በኋላ ሲስተር ሉቺያ ስለ መንጽሔ ትነግረን ነበር፤ ይኸውም ነፍሳት ገነት ከመግባታቸው በፊት በእሳት የሚነጹበት ስፍራ ነው። ከዚያ የሚመጡ ነፍሳት ድምፅ የላቸውም አለችን። የሚለምኑት በመንካት ነው፤ የነኩትም ጨርቅ ይሁን እንጨት የጣቶቻቸውን ቃጠሎ ይዞ ይቀራል። እኛ በየብርድ ልብሳችን ተጠቅልለን እናዳምጣለን። ከይፋግ የመጣችው ሙሉነሽ ብቻ፣ እኔ ብሞት የምመለሰው የእናቴን ሩዝ ለመብላት ነው፣ ማንንም አልነካም ብላ ታስቀን ነበር። እኔ አልስቅም። እናቴ የት እንዳለች እስከዚያ ድረስ ማንም የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የእናቴ ሙት ዓመት በዚያው ኅዳር፣ በተቀበረችበት በዘጌ ሊታሰብ ተወስኖ ነበር። እናቴ ስትሞት የክት ነጠላዋ ዘጌ ላለችው መነኩሲት አክስቷ እንዲሰጥ ተናዝዛ ነበር። አደራው ለእኔ ተሰጠ። ነጠላውን አጥቤ፣ አጣጥፌ በሣጥኔ ቆለፍሁበት፤ የየሣጥናችን ሁለተኛ ቁልፍ በኃላፊዋ ዘንድ ይቀመጥ ነበር። ከሙት ዓመቱ በኋላ አባቴ የሌሊት ፈረቃውን ስለሚተው ወደ ቤት እንድመለስም ተነጋግረን ነበር። ይህን ለሲስተር ሉቺያ ስነግራት፣ ጥሩ ነው የኔ ልጅ ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

በኅዳር ዐሥራ ሁለት አገሩ ሁሉ ቆሻሻውን ከየደጁ ሰብስቦ ያቃጥላል፤ ኅዳር ሲታጠን ይባላል። በዚያ ቀን ከተማዋ እስከ ሐይቁ ዳር ድረስ ጭስ ለብሳ ትውላለች፤ ፀጉራችንም ትራሳችንም ቃጠሎ ቃጠሎ ይሸታል። በማግሥቱ ነጠላውን ላናፍስ ሣጥኔን ከፈትሁ። ከጥለቱ በላይ፣ በነጩ ላይ፣ አምስት ቡናማ የቃጠሎ ምልክቶች ነበሩ፤ አራቱ ጎን ለጎን፣ አንዱ ዝቅ ብሎ ወደ ጎን ያዘነበለ።

አልጮህሁም። ሲስተር ሉቺያን ፈልጌ አሳየኋት። አማተበች። ከዚያ ለማንም እንዳልናገር መከረችኝ። የዘጌው ድግስ ለሕያዋን ነው፣ እናትሽ የጠራችው አንቺን ነው፣ ዘጠኝ ቀን ከእኛ ጋር ጸልዪላት አለችኝ። ዘጠኙ ቀን ሙት ዓመቱን ውጦት ያልፍ ነበር።

አባቴ በጀልባ ወደ ዘጌ በምንሻገርበት ቀን ጠዋት መጣ። አዲስ ጫማ አድርጎ፣ ለካህናቱ የሚሆን ዘቢብ በፌስታል ይዞ በር ላይ ቆመ። ልጅቱ በጸሎት ላይ ናት ተባለ። ከጸሎት ቤቱ ሆኜ ዘበኛውን፣ “እናቷ እኮ ናት፤ ይህን ብቻ ንገርልኝ” ሲለው ሰማሁ። ምእመናን ያበሩትን ሻማ ጠረን እያሸተትሁ፣ ግንባሬን ወንበሩ ላይ አስደግፌ ቆየሁ። ጀልባው ሰዓቱን ጠብቆ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ነጠላውን ከትራሴ ሥር አድርጌ እተኛ ነበር። ጣቶቼን በምልክቶቹ ላይ አሳርፋለሁ። ወደ ቤት አልተመለስሁም፤ መነኩሲት ለመሆንም አሰብሁ። ይህን ስነግራት ሲስተር ሉቺያ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ለፋሲካ የመንበር ልብሶችን እንዳግዛት ወደ መተኮሻው ክፍል ወሰደችኝ። የከሰል ካውያ ሙቀቱ በዓይን አይለይምና፣ የመንበሩ ልብስ እንዳይቃጠል አስቀድሞ ጫፉን በአሮጌ ጨርቅ ላይ መንካት የሥራው ደንብ ነው። እርሷ ከሰል ልትጨምር ስትወጣ ከአሮጌ ጨርቆቹ ቅርጫት ግርጌ አንዱን ሳብሁ። በካውያ ጫፍ የተሠሩ አራት እጆች ነበሩበት። የመጀመሪያው የተንጋደደ ነበር፤ በሁለተኛው አውራ ጣቱ ቦታውን ስቷል። ሦስተኛው ይሻላል። አራተኛው የእናቴ ነበር።

ስትመለስ ጨርቁን በእጄ አየችው። ነጠላውን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁና፣ “እጅዎን ያስቀምጡበት” አልሁ።

እምቢ ትላለች ብዬ ነበር። አስቀመጠች። አምስቱም ጣቶች ከቦታቸው ገጠሙ።

“ልትሄጂብኝ ነበር” አለች።

“እናቴ መጥታ ነበር ወይስ አልመጣችም?”

“በየቀኑ ጸልዬላታለሁ። እሱ ውሸት የለበትም።”

“መጥታ ነበር?”

“አልመጣችም፣ የኔ ልጅ።”

በዚያው ሳምንት ወደ ቤት ተመለስሁ። አባቴ ነጠላውን ዘርግቶ ሲያይ ምን እንደ ነካው ጠየቀኝ። “ካውያ” አልሁት። እውነት ነበር። “የእናትሽን ነጠላ እንኳ ተጠንቅቀሽ አትተኩሺም?” አለና አጥፎ፣ ዘጌ ራሱ ይዞት ሄደ። በዚያ ጠዋት ከጸሎት ቤት ለምን እንዳልወጣሁ ሳይጠይቀኝ ኖረ፤ ሳይጠይቀኝም ሞተ።

ዛሬ ጥጥ በሙቀት እንዴት እንደሚጎዳ አስተምራለሁ። አስቀድሞ ይወይባል፣ ቀጥሎ ቡናማ ይሆናል፣ እሳት ከመያዙ በፊት ይሰባበራል። ሰዎች ይህን ሙያ ለምን እንደ መረጥሁ ሲጠይቁኝ የአባቴን ፋብሪካ እጠቅሳለሁ። ሲስተር ሉቺያ በሕይወት አለች፤ በሌላ ከተማ፣ በአረጋውያን ደናግል ቤት ትጦራለች። በየዓመቱ በሰው ሰላምታ ትልካለች። ልጠይቃት የሄድሁበት ጊዜ የለም።

ያን ዕለት መብራቱ ሲመጣ ሁሉም ወደየማሽናቸው ተበተኑ፤ የጠየቀችኝ ልጅ ግን አጠገቤ ቀረች። አባቷ ዐምና እንደ ሞቱ ከጓደኞቿ ሰምቼ ነበር። የአባቷን ስም ሳታነሣ፣ ቢያስፈራኝም ቢመጣልኝ እወድ ነበር አለች። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “የእርስዎስ በጣም ያስፈራ ነበር?” አለችኝ።

የምመልስላትን ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ሲስተር ሉቺያን ይቅርታ የነፈግኋትም በሌላ ምክንያት አይደለም።

“አይ፤ ደስ ብሎኝ ነበር” አልኋት።