ሐሊሜና ዥዋዥዌው ድልድይ

ሐሊሜ ይመር ድልድዩን በተመላለሰችባቸው ሃያ ሁለት ዓመታት አንድም ቀን መሃሉ ላይ ዞር ብላ አታውቅም። ሰው ይጥራት፣ ዝናብ ይምጣ፣ ከኋላዋ የፍየል መንጋ ይጩህ፣ ዓይኗ ከዳልቻ ኮቴ አይነቀልም። ዳልቻ አህያዋ ነው። የሰቆጣ ነጋዴዎች «ሐሊሜ ከባሏ ይልቅ አህያዋን ታምናለች» እያሉ ያሟታል፤ እሷም ብትሰማ አትክድም። ባሏ ዓሊዬ ሱቅ ተቀምጦ ከደንበኛ ጋር ወሬ ሲጠርቅ፣ ስኳሩንና ሳሙናውን ተሸክሞ ቆላ የሚወርደው ዳልቻ ነዋ! ረቡዕ ረቡዕ ወንዙን ተሻግረው፣ ሐሙስ አበርገሌ በኩል ገበያ ውለው ይመለሳሉ። አራት ልጆች ያደጉት በዚህ መንገድ ነው።

ድልድዩ ጥቁር ውሃ ወንዝ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በንጉሡ ጊዜ ተሠራ ይባላል። የብረት ገመዱን ስልሳ ሰው ተሰልፎ በትከሻው ከዳገቱ እንዳወረደው ሽማግሌዎች ይናገራሉ፤ ከፊት ማን እንደነበረ ግን እስካሁን ይጣሉበታል። ሁለት ወፍራም ገመድ፣ ከሥር ሳንቃ፣ ከግራና ከቀኝ እስከ ወገብ የሚደርስ ሽቦ፣ በቃ ይኸው ነው። ስፋቱ የተጫነ አህያ ሽቦውን እየታከከ የሚያልፍበት ያህል ነው። ሲረግጡት ስለሚወዛወዝ ያገሩ ሰው ዥዋዥዌ ይለዋል። መሃሉ ላይ አንድ ሳንቃ ወድቆ ክፍት ከቀረ ሦስተኛ ክረምቱ ነው። ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም «አንድ ሰው ቢጠግነው ምን አለ?» ይላል፤ ያ አንድ ሰው ግን እስካሁን አልተወለደም። ሐሊሜ እዚያ ስትደርስ የዳልቻን ገመድ ታሳጥርና «ቢስሚላህ» ብላ እግሩን አንድ በአንድ እያየች ታሻግረዋለች።

የዚያን ረቡዕ ግን ልጇ ፊርደውስ አብራት ነበረች። ጅዳ ሰው ቤት ስድስት ዓመት ሠርታ አገሯ ከገባች ገና አሥር ቀኗ ነው። «እኔን ያሳደገኝን ድልድይ ሳላይማ አልቀመጥም» ብላ ተነሳች። ሐሊሜ በሆዷ ደስ ብሏታል፤ አፏ ግን «ምኑ ይታያል፣ ሽቦና ሳንቃ!» ይል ነበር። ጊዜው ነሐሴ ነው። ወንዙ ሞልቶ፣ ደፍርሶ፣ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል።

ድልድዩ ላይ ወጡ። ሐሊሜ ገመዱን ይዛ ኮቴውን በጎን እያየች ከፊት፣ ዳልቻ ጭነቱን ይዞ ከኋላዋ፣ ፊርደውስ ፎቶ ልታነሳ ስልኳን ደግና ከአህያው ኋላ። ልክ ክፍቱ ጋ ሲደርሱ ፊርደውስ ተጣራች።

«እማ! አንዴ ወደዚህ እዪኝ! አንዴ ብቻ!»

ስድስት ዓመት የልጇን ድምፅ በስልክ ብቻ ስትሰማ የኖረች እናት እንዴት አትዞር? ሐሊሜ ዓይኗን ከኮቴው ነቅላ ወደ ልጇ ዞረች፤ ፈገግም አለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። የዳልቻ የፊት እግሮች ተሻግረው ነበር፤ የኋላ ቀኝ እግሩ ግን ሳንቃው በሌለበት ገባ። አህያው እንዳለ በሆዱ ወደቀ። ድልድዩ ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ስልኩ ከፊርደውስ እጅ ተስፈንጥሮ ወንዝ ገባ፤ ማንም ዞሮ አላየውም። ሐሊሜ ሽቦውን በአንድ እጇ፣ የዳልቻን ገመድ በሌላው ጨብጣ ቆመች። አህያው እግሩን ሊያወጣ በተንፈራገጠ ቁጥር ሳንቃዎቹ ይንጫጫሉ።

«አትንቀሳቀሽ!» አለቻት ልጇን። «ባለሽበት ቁሚ!»

በዚህ መሃል ከአበርገሌ በኩል ጩኸት ተሰማ። አራት ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ቁልቁለቱን በሩጫ ወረዱ። ድልድዩ አራት ሰው ጎን ለጎን ስለማያሳልፍ፣ ሁለቱ ብቻ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ሆነው ተሸክመው ገቡ። ሳይቆሙ መጡ፤ ሐሊሜ «ቁሙ!» ብላ እስክትጮህ ድረስ የወደቀውን አህያ አላዩትም። ከፊት የነበረው ጎልማሳ አምስት እርምጃ ያህል ሲቀረው ተገታ። ፊቱ በላብ ታጥቧል።

«እናቴ፣ መንገድ ይልቀቁ!» አለ። «ከትናንት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት። ደሟ እየፈሰሰ ነው። ማዶ አምቡላንስ ቆሞልናል።»

«በምን ልልቀቅ? እግሩ ተይዟል።»

ከኋላ ያለው ተሸካሚ በኽምጣኛ የሆነ ነገር ጮኸ። ሐሊሜ ቋንቋውን ትሰማለች፤ አህያውን ወንዝ ክተቱት ነው ያለው። ፊርደውስም ከወዲያ በኩል ማልቀስ ጀመረች።

«ግፊው እማ! ወላሂ ሌላ እገዛልሻለሁ! ግፊው!»

ሐሊሜ ዳልቻን አየችው። እውነቱን እንናገርና፣ ልቧ አልቻለም። ነገር ግን ልቧ ቢችልም የሚሆን ነገር አልነበረም። እግሩ የተያዘ አህያ ሲገፋ ብቻውን አይሄድም፤ ሳንቃውንም ሽቦውንም ነቅሎ ነው የሚሄድ። ያኔ ነፍሰ ጡሯም ተሸካሚዎቹም ልጇም እዚያው አህያው ኋላ ይከተላሉ። ቢያርዱትም በጣዕር መንፈራገጡ አይቀርም። የሚያዋጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አህያው እንደተኛ ይቆይ፣ ሰዎቹ በላዩ ይለፉ። እንዲተኛ የሚያደርገው ደግሞ ከእሷ በቀር ማንም የለም።

የመጫኛውን ቋጠሮ በጥርሷ ፈታች። ስኳሩም ሳሙናውም በሽቦው ላይ ተገልብጦ ወንዝ ገባ። ዓሊዬ ቢያይ ኖሮ ከስኳሩ ቀድሞ ራሱ ይገባ ነበር። ሻሿን ከራሷ ፈትታ የዳልቻን ዓይን ሸፈነች። ከዚያ ደረቷን ጀርባው ላይ አድርጋ፣ አንገቱን አቅፋ፣ በላዩ ተዘረጋች።

«እርገጡኝና እለፉ» አለች።

ጎልማሳው ደነገጠ። «ምን አሉ?»

«የማያውቀው እግር ከረገጠው ይነሳል። የኔን ክብደት ግን ያውቀዋል፤ ስንቱን ወንዝ በጀርባው ተሻግሬያለሁ። እኔን ርገጡ።»

«እናት ትረገጣለች እንዴ? ተራምዶ ማለፉ እንኳ ነውር ነው! እኔ አላደርገውም!»

«ስምህ ማነው?»

«ገበየሁ።»

«እሷስ ምንህ ናት?»

«ሚስቴ ናት። ባንቺ ትባላለች።»

«እንግዲያው ስማኝ ገበየሁ። እናት ከምትሞትብህ እናት ርገጥ። ቶሎ በል!»

ከቃሬዛው ላይ ረዘም ያለ ማቃሰት ተሰማ። ገበየሁ የቃሬዛውን እንጨት ሳይለቅ አንዱን እግር በሌላው እየገፋ የላስቲክ ጫማውን አወለቀ፤ ቤተ ክርስቲያን ሊገባ ይመስል። ባዶ እግሩን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ።

ከባድ ነበር። የራሱም የሚስቱም ክብደት በአንድ ተረከዝ ላይ ወርዶ ጎድኗ ውስጥ ሲገባ ሐሊሜ ትንፋሽ አጠራት። ሥሯ ያለው ዳልቻ ይንቀጠቀጣል። አፏን ጆሮው ላይ አስጠግታ፣ መንገድ ላይ ሲደክመው የምትለውን ትለው ጀመር። «ደረስን እኮ። ይኸው ሾላው ሥር ደረስን። ውሃ ትጠጣለህ። ትንሽ ናት የቀረችው።» ገበየሁ ሁለተኛ እግሩን ወገቧ ላይ አደረገ። ቃሬዛው ከራሷ በላይ መጣ፤ ጨለማ ሆነባት። አንገቷ ላይ ሙቅ ነገር ጠብ አለ፤ ደግሞ ጠብ አለ። አራት የወለደች ሴት ናትና ምን እንደሆነ ለማወቅ አልቸገራትም። ያ ረቢ፣ አለች በሆዷ፣ ይችን ልጅ በኔ ጥፋት አትውሰዳት።

ገበየሁ ተሻገረ። ፊርደውስ «እኔ ጠርቻት ዞራ ነው!» እያለች በለቅሶ ከወዲያ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ተቀበለችው። የኋለኛው ተሸካሚ ግን ሲረግጥ እግሩ ተንሸራተተ። ቃሬዛው አዘነበለ፣ ባንቺ ጮኸች፣ ድልድዩ ሙሉውን ወደ አንድ ወገን ተጋደመ፣ ዳልቻም አንገቱን ቀና አደረገ። ሊነሳ ነው። ሐሊሜ ሌላ የቀራት ነገር ስላልነበረ ጆሮውን በጥርሷ ነከሰችው። አጥብቃ፣ ደሙን እስክትቀምስ ነከሰችው። አህያው ድርቅ አለ። ሰውየው ሚዛኑን አገኘ፤ አንዴ ጀርባዋን፣ አንዴ የአህያውን ወገብ ረግጦ ዘለለ። ሳንቃው ላይ የሩጫ ኮቴ ተሰማ፤ ራቀ፤ ከዚያ የአምቡላንሱ ጩኸት ዳገቱን ሲወጣ ሰማች። ያን ጊዜ ነው ጥርሷን ያላላችው።

የቀሩት ሁለት ሰዎች ከኋላ ደርሰው ሳንቃ ፈልቅቀው ዳልቻን አወጡት። እግሩ ተልጧል፤ አልተሰበረም። የሐሊሜ ጎድን ግን ለሦስት ሌሊት አላስተኛትም። ዓሊዬ ስለ ስኳሩ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ጀርባዋን በቅቤ አሸላት፤ ይህ ከእሱ የማይጠበቅ ነገር ነበር።

ፊርደውስ በማግስቱ ሰቆጣ ሆስፒታል ሄደች። ባንቺ የለችም። ደም ያስፈልጋታል ተብሎ በዚያው ምሽት ወደ ወልድያ ተልካለች። ትኑር ትሙት የሚያውቅ ሰው አልተገኘም፤ የገበየሁንም ስልክ ማንም አልያዘም። ከዚያ ወዲያ ፊርደውስ እህል አልበላ አላት። «እኔ ነኝ የገደልኳት። ለአንድ ፎቶ!» ትላለች። ሐሊሜ «የዞርኩት እኔ፣ አንቺ ምን አደረግሽ?» ትላታለች። ሁለቱም ጥፋቱን እየተሻሙ አሥራ አምስት ቀን ሆናቸው።

አሥራ አምስተኛው ቀን ረቡዕ ነበር። ሐሊሜ ዳልቻን ቀለል አድርጋ ጭና ብቻዋን ወጣች። ድልድዩ አፍ ላይ ስትደርስ ቀና ብላ ብታይ፣ ማዶ በኩል አንድ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። አወቀችው። ገበየሁ ነው። እሱም አያት፤ ተነስቶ ቆመ። ምንም አላለም።

በዚያ አገር ደስታ ከሩቅ ይጮሃል። የምሥራች ያለው ሰው ገና ማዶ ሆኖ እጁን ያወዛውዛል፣ እልል ያስብላል። ቀስ ብሎ ቀርቦ፣ ዓይን ለዓይን ተያይቶ፣ በዝግታ የሚነገረው መርዶ ነው። ገበየሁ እጁን እንኳ አላነሳም። ሐሊሜ መመለስ ፈለገች፤ እግሯ ግን አንዴ ሳንቃው ላይ ወጥቷል። ገመዱን አሳጥራ መራመድ ጀመረች። ከሥሯ ወንዙ ያጓራል፤ እሷ የምትሰማው የእሱን ዝምታ ብቻ ነው።

መሃል ደረሰች። ክፍቱ የለም። በቦታው አዲስ ነጭ ሳንቃ ተቸንክሯል፤ ገና የእንጨት ሽታው አልለቀቀም። ያኔ የቀራት ተስፋ ተሟጠጠ። ሰው ድልድይ የሚጠግን ለማነው? ለሞተ ሰው ነፍስ ነው። እሷም አባቷ የሞቱ ጊዜ የምንጭ ውሃ በስማቸው አስጠርጋለች። ሳንቃውን ለመርገጥ እግሯ እምቢ አለ፤ የባንቺን መቃብር የምትረግጥ መሰላት። ዳልቻ ግን ገመዱን ጎትቶ ረግጦት አለፈ፤ ተከተለችው። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። ምን እለዋለሁ? ይቅር በለኝ ይባላል? ሚስትህን ለፎቶ ዞሬ ገደልኳት ይባላል?

የመጨረሻውን ሳንቃ ለቃ መሬት ስትረግጥ ገበየሁ ዘሎ እግሯ ላይ ወደቀ።

«ሁለቱም ደህና ናቸው እናቴ! ባንቺም ሕፃኑም! ትናንት ነው ቤት የገባን፤ ወንድ ልጅ ነው!»

ሐሊሜ እዚያው መሬት ላይ ዝርግፍ ብላ ተቀመጠች። «አልሐምዱሊላህ» ለማለት አፏን ብትከፍትም የወጣው ቃል ሌላ ነው።

«አንተ የተረገምክ! ታዲያ ከማዶ ሆነህ ብትጮህ ምን ነበረበት? ነፍሴ ወጥታ እኮ ነው የገባች!»

ገበየሁ እግሯን ሳይለቅ ቀና አለ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ሊያመልጠኝ ነበር፤ አፌን በእጄ ነው የያዝኩት» አላት። «ልጠራዎት ስል፣ ይዞራሉ ብዬ ፈራሁ።»