ቡሬን ለዘሀራ የሰጠብኝ ሰውዬ

የቡችላ አፍ ምን ምን እንደሚል የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ፤ ወተት ወተት፣ ገለባ ገለባ፣ ትንሽ ደግሞ የሕፃን ልጅ አናት ይላል። ባለፈው ወር ልጄ ፈቲያ እጄን እየጎተተች እዚሁ ከሚሴ፣ ከዋናው መንገድ ጀርባ ወዳለ አንድ ግቢ ስታስገባኝ ይኸው ሽታ በሩ ላይ ተቀበለኝ። ከኋላዬ ባጃጆች ይንጫጫሉ፣ የደሴ ሚኒባስ ረዳት ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጣራል፤ እኔ ግን ምንም አልሰማሁም። አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ቅናቴ፣ ደጃፍ ላይ እንደተኛ አሮጌ ውሻ አንድ ዓይኑን ገልጦ አየኝና «መጣህ?» አለኝ።

የግቢዋ ባለቤት ማን እንደሆነች በኋላ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ አያ እንድሪስ።

አያ እንድሪስ የሰፈራችን ባለወፍጮ ነበር። ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ ቆዳው ምን ዓይነት እንደሆነ ያየ ሰው የለም። ሽፋሽፍቱ ዱቄት፣ ጢሙ ዱቄት፤ ሲያስነጥስ አንድ ቁና ማሽላ የሚያህል ከአፍንጫው ይበን ነበር። ዓርብ ታጥቦ፣ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ወደ መስጊድ ሲሄድ እናቴ «ይኼ እንግዳ ደግሞ የማን ነው?» ብላ ጠይቃለች ብል አታምኑኝም፤ አትመኑኝ። ወፍጮው በናፍጣ የሚሠራ ነበር። ቺንጋው እየተምዘገዘገ፣ የጭስ ማውጫው ቱክ ቱክ እያለ፣ ከጨፋ በኩል እህል ጭነው የመጡት አህዮች ጆሯቸውን አጣጥፈው ተራ ይጠብቃሉ። አያ እንድሪስ ከገበሬው ጋር በአማርኛ፣ ከውሻዋ ጋር በኦሮምኛ፣ ከሞተሩ ጋር በስድብ ያወራ ነበር።

የውሻዋ ስም ምናጠፋች ነው። ስሙ ለእሷ ሳይሆን ለጎረቤት የወጣ ነበር። «የሰገደ ሰው ከውሻ ምን አለው?» እያሉ ሲያሙት ሰምቶ፣ በየጠዋቱ በየደጃፋቸው እያለፈ «ምናጠፋች! ምናጠፋች!» እያለ ይጣራል፤ ሰፈሩም በየጠዋቱ መልስ ያጣል። ደፍሮ ፊት ለፊት የጠየቀው ሰው ካለ ደግሞ፣ «ምራቋ የነካውን ዕቃ ሰባት ጊዜ እጠብ፣ አንዷን በአፈር ተባልኩ፤ አጠብኩ። ጥላት የተባልኩበትን ግን እስቲ አሳየኝ» ይለዋል። ለዚሁ ሥራ ከውሃው በርሜል አጠገብ ንጹሕ አፈር የሞላ ጣሳ ነበረው። ከውሻዋ ጋር ሲሆን የሚለብሳት አሮጌ ካፖርትም በር ላይ ተሰቅላ ትውላለች፤ እሷን ለብሶ ቤት አይገባም፣ እሷን ሳያወልቅ ውዱእ አያደርግም።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ምናጠፋች አራት ቡችሎች ወለደች። አያ እንድሪስ ወፍጮውን ግማሽ ቀን ዘግቶ፣ ከጓሮ ንፋስ የማያገኘው ጥግ ገለባ ጎዝጉዞ፣ የአጃ አጥሚት ሠራላት። ወሬው ከከሚሴ ተነስቶ ባቲ ገበያ ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። «ለውሻ አጥሚት!» አለች እናቴ ሰማይ ሰማይ እያየች፤ «እኔ ሙሄን ስወልድ ማን አጠጣኝ?» ሙሄ እኔ ነኝ። ቅናት በቤታችን የዘር ነው ማለት ነው።

የቡችሎቹ ዓይን የተገለጠ ቀን ደግሞ ድግስ ሆነ። የማሽላ ቆሎ ቆልቶ፣ የሰፈሩን ልጆች እጃችንን አስታጥቦ አሰለፈን። «መጀመሪያ የሚያዩት ፊት የሳቀ ፊት ይሁን» ብሎ፣ ከመግባታችን በፊት በሩ ላይ አንድ በአንድ ፈገግታ አለማመደን። እኔን ሦስት ጊዜ መለሰኝ። ምን ላድርግ፤ ጥርሴ ይስቃል እንጂ ልቤ ይነድ ነበር። እኛ ቤት ሰባት ልጆች ነን፤ ዓይናችን ሲገለጥ ቆሎ የበተነልን የለም።

ከአራቱ አንዱን ሳይ ግን ሁሉን ረሳሁ። ዥንጉርጉር ስለነበር አያ እንድሪስ ቡሬ ብሎታል፤ አንድ ጆሮው ቆሞ ሌላው ተኝቶ፣ ሆዱ እንደ ከበሮ የተነፋ፣ ሲሮጥ የኋላው የፊቱን እየቀደመ የሚወድቅ። የኔ መሆን አለበት አልኩ። ችግሩ፣ ከጎኔ የቆመችው የልብስ ሰፊው ልጅ ዘሀራም በዚያው ቅጽበት ያንኑ ማለቷ ነው። ዘሀራን ቀድሞም አልወዳትም ነበር፤ አንድ ክፍል ነን፣ እርሳሷ አይሰበርም።

አያ እንድሪስ ሕጉን ነገረን። ቡችላ ሁለት ወር ሳይሞላው ከእናቱ አይነጠልም፤ «የእናቱን ጡት ሳይጠግብ የወጣ ውሻ ዕድሜ ልኩን ሌባ ነው።» እስከዚያ ፈላጊው በየቀኑ ከትምህርት ቤት መልስ የራሱን ሳህን ይዞ ይመጣል፤ ገለባ ይቀይራል፣ ያበላል፣ ሳህኑን ሰባቴ ያጥባል፤ በመጨረሻው ቀን አባቱ መጥቶ «ይሁን» ይላል። ዘሀራ የዛገ የዘይት ቆርቆሮ ይዛ መጣች። እኔ ውሻዬ በቆርቆሮ አይበላም ብዬ፣ እናቴ ለእንግዳ የምታስቀምጠውን ጽጌረዳ የተሳለበት የሸክላ ቅብ ሳህን ሰርቄ መጣሁ።

አንድ ወር እንዲህ ተፎካከርን። እሷ አንድ ጊዜ ስትጠርግ እኔ ሁለቴ እጠርጋለሁ፤ ገለባው እኔን ሲያይ ራሱ ተነስቶ መውጣት ጀምሮ ነበር። ከንቱ ድካም! ዘሀራ በሩን ስትከፍት ቡሬ እየተንከባለለ ወደ እሷ ይሮጣል፤ እኔ ስከፍት ቀና ብሎ ያይና ተመልሶ ይተኛል። አያ እንድሪስም ይህን እያየ ይስቃል፤ ከዱቄቱ መሀል ጥርሱ ብቻ ይታየኛል። በዚህ ምድር ላይ እንደዚያ ሳቅ ያቃጠለኝ የለም።

በሰፈራችን ማንም የሚያውቀው አንድ ዕውቀት ነበር፤ ውሻ ኃይለኛ የሚሆነው በቡችላነቱ በርበሬ ሲቀምስ ነው። ጆሮውን ቆርጠው መልሰው የሚያበሉትም ነበሩ፤ እኔ ሩኅሩኅ ነኝና በርበሬውን መረጥኩ። ቡሬ አንበሳ ይሆናል፣ አንበሳ ሲሆን መጀመሪያ የሚነክሰው ዘሀራን ነው፤ ዕቅዴ ይኸው ነበር። አንድ ከሰዓት፣ አያ እንድሪስ ሞተሩ ጋ ሳለ፣ ዘሀራ ወተት ልታመጣ እንደሄደች፣ የተድቦለቦለ ዳቦ በእናቴ በርበሬ ለውሼ ሰጠሁት። ከእጄ ሲበላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጭራውን ቆላልኝ።

ከዚያ ጮኸ። ጩኸቱ ሞተሩን አቋርጦ ወጣ፤ ሞተሩም ቆመ። እኔ ከድንጋጤዬ የተነሳ ዓይኔን በዚያው እጄ ጠረግሁ። የጀሀነም ደጅ የተከፈተ መሰለኝ። አያ እንድሪስ ሮጦ ሲደርስ ቡሬ አረፋ እየደፈቀ መሬት ይቧጥጣል፣ እኔም አጠገቡ ተንበርክኬ እንባዬ ይጎርፋል። እንዴት ያለ ደግ ልጅ ነው ብሎ አስቦ ኖሯል፣ ቡሬን በአንድ እጁ አቅፎ እኔን በሌላው ይደባብሰኝ ጀመር።

«አብሽር፣ አብሽር ልጄ፤ አይሞትም። ማነው እንዲህ ያደረገው?»

«ዘሀራ ናት!» አልኩ።

ዘሀራ ወተቱን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ወተቱን ለአያ እንድሪስ ሰጥታ፣ ቲማቲም የመሰለውን ዓይኔን ብቻ ታየው ጀመር። እሱ ወተቱን በጨርቅ እየነከረ ለቡሬ አጠጣው፣ አፉን አጠበው፤ ጩኸቱ ወደ ሲቃ ሲወርድ ወደ እኔ ዞሮ ዓይኔን ሊያጥብልኝ እጄን ያዘ። ያዘና ቆመ። ጣቴን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው እህል ሲያሸት የኖረ ሰው ነው፤ በርበሬው የየትኛዋ ሴት እጅ እንደሆነ ጭምር ያወቀ መሰለኝ።

«ለካስ የምታለቅሰው ለዓይንህ ነው» አለኝ በቀስታ። «ለሱ መች አለቀስክ?»

አልመታኝም። «ያሳመመ ያስታምማል» ብቻ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአሥራ አምስት ቀን ወተት በጨርቅ እያጠባሁ፣ ትውከቱን እየጠረግሁ ዋልኩ። ማታ ማታ ሳህኑን ሳጥብ እሱ ጆንያ ላይ ተቀምጦ በኦሮምኛ ይቆጥርልኛል፤ ቶኮ በአፈር፣ ከዚያ ለማ፣ ሰዲ እያለ እስከ ቶርባ፣ እስከ ሰባተኛው። ከተሳሳትኩ እንደገና ከቶኮ። እናቴ ጽጌረዳዋን ፈልጋ እዚያው ስታገኛት የሰማችሁት ጩኸት የሷ ነው፤ ሸዋሮቢት ድረስ ተሰምቷል። «እመት፣ መቶ ጊዜ ታጥቧል፤ ከሁላችንም ልብ ይጠራል» ቢላት፣ «እንግዲያስ ብላበት!» ብላው ሄደች። ሳህኑ እዚያው ቀረ።

ቡሬ ዳነ። ይባስ ብሎ ወደደኝ። በሩን ስከፍት ወደ እኔ መንከባለል ጀመረ፤ እኔም ነገሩ አለቀ፣ የኔ ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ሁለት ወሩ ሞላ፤ አባቴም የዘሀራም አባት መጡ። አያ እንድሪስ ካፖርቱን ለብሶ ቡሬን አነሳና፣ ሰው ሁሉ እያየ ዘሀራ ክንድ ላይ አስቀመጠው።

«አያ!» ብዬ ጮህኩ፤ «እኔን እኮ ነው የሚወደኝ! ይቅር ብሎኛል!»

«ብሎሃል» አለ ጎንበስ ብሎ። «ውሻ ቶሎ ይቅር ይላል። እሱ ቶሎ ስለሚል ነው እኔ ቶሎ የማልለው። በሚቀጥለው ምናጠፋች ስትወልድ ሳህንህ እዚህ ነው፤ ና።»

አልሄድኩም። በሚቀጥለውም፣ ከዚያ በሚቀጥለውም። ቡሬ በየጠዋቱ ዘሀራን እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ሸኝቶ ሲመለስ በደጄ ያልፋል፤ ጭራውን ይቆላልኛል፣ እኔ ፊቴን አዞራለሁ። እንዲያ ስቀና አደግሁ። ደሴ ለትምህርት ሄጄ ሳለ አያ እንድሪስ መሞቱን ሰማሁ፤ ኢናሊላሂ አልኩ፣ ግን ከውስጤ አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ «ቡሬን የሰጠብኝ» አለ። አፈርኩበት፤ እሱ ግን አላፈረም።

እንግዲህ ልጄ የጎተተችኝ ግቢ የዘሀራ ነው። ከሚሴ ውስጥ ጤነኛ ቡችላ ከፈለግህ እሷ ጋ ሂድ ይላሉ፤ ታስከትባለች፣ ታስመረምራለች፣ ሁለት ወር ሳይሞላ ለማንም አትሰጥም። ፈቲያ አንድ ወር ሙሉ እየተመላለሰች ኖሯል፤ እኔ ቁርኣን ቤት የምትቆይ መስሎኝ። ያ ቀን አባት መጥቶ «ይሁን» የሚልበት ነበር። ዘሀራ ሽበቷን በሻሿ ሸፍና ወጣች፤ አየችኝ፣ ሰላም ከማለቷ በፊት፦

«እጅህን አሳየኝ» አለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ አርባ ዓመት እኮ ነው!»

«አሳየኝ አልኩህ።»

አሳየኋት። አሸተተችና ሳቀች። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ አንድ ሳህን ይዛ ወጣች። ጠርዙ ተላልጧል፣ ጽጌረዳዋ ከመታጠብ ብዛት ወደ ሮዝ ጥላነት ተቀይራለች። የእናቴ ሳህን ናት።

«ወፍጮው ሲዘጋ አያ ለኔ ሰጠኝ፤ ሙሄ ከመጣ ብሎ» አለች። «አታውቅም እንጂ፣ ምናጠፋች በወለደች ቁጥር አንድ ቡችላ ለማንም ሳይሰጥ ያቆይ ነበር። በር በሩን እያየ። እኔ በየቀኑ እመጣለሁ፤ የሚያየው ግን መንገዱን ነው። ወላሂ ሙሄ፣ እንደዚያ የቀናሁበት ሰው የለም።»

«በማን?»

«በማን ይሆናል፣ ባንተ ነዋ!»

«ይሁን» አልኩ ለፈቲያ። ቡችላዋ አንድ ጆሮዋ ቆሞ ሌላው ተኝቷል፤ በልታ ስትጨርስ ወደ ልጄ እቅፍ ተንከባለለች። ወደ እኔ ዞር ብላ እንኳ አላየችም። በገዛ ልጄ ቀናሁ።

ከቧንቧው አጠገብ አፈር የሞላ ጣሳ አለ። እጅጌዬን ሰብስቤ፣ ሳህኑን አንስቼ ቁጢጥ አልኩ። አፈሩን ቆንጥሬ ጽጌረዳዋን ማሸት ስጀምር ዘሀራ ከኋላዬ ጆንያ ላይ ተቀመጠች።

«ቶኮ» አለች።