ፊደል የሚበላ መስመር

ያለ ገመድ የሚሠራ ስልክ እንዴት እንደሚሠራ ያልጠየቅሁት ሰው የለም፤ የገባኝ ነገር ግን የለም። ድምፅ ያለ ሽቦ ተራራ ተሻግሮ ከመጣ፣ መንገድ ላይ ምን እንደሚደርስበት ማን ያውቃል? ይህን የምለው ሳልማር ቀርቼ አይደለም። ጎንደር፣ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ነው የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ነኝ። ብቻ አንድ ጊዜ ጉድ ስለሠራኝ ቂም ይዤበታለሁ።

እናቴ የምትኖረው ጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን ወዲያ ባለ መንደር ነው። እዚያ የእጅ ስልክ የሚሠራው አፋፍ ላይ ለወጣ ሰው ነበር፤ ያውም ሲፈቅድ። በኋላ አንድ ፕሮጀክት መጣ ተባለ። ከጎንደር የሄዱ ወጣቶች ከመንደሩ ጀርባ ባለው ጉብታ ላይ ረጅም ግንድ ተክለው፣ አናቱ ላይ ሳህን የመሰለ ነገርና ሶላር ሰቀሉበት። ከወዲያኛው ተራራ ካለው ጋር እየተያየ ለመንደሩ ስልክም ኢንተርኔትም በርካሽ ያመጣል አሉ። የትምህርት ቤቱ ልጆች ሥሩ ተኮልኩለው ቪዲዮ ማየት ጀመሩ፤ አጎቴ ሱቅ ውስጥ ደግሞ ሽቦ የሌለው የጠረጴዛ ስልክ ተቀመጠ። እናቴ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እዚያ ገብታ ትደውልልኛለች። «ደህና ነሽ? ገብሱ እንዴት ነው? ላሟ ወለደች?» እላታለሁ። እሷም ሥራዬን ትጠይቀኛለች። ከዚያ እንዘጋለን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ እያለሁ አጎቴ ደወለ። በሱቁ ስልክ አልነበረም፤ አፋፉ ላይ ወጥቶ በራሱ ሞባይል ነው። እዚያ ያለው መስመር የቃሉን ራስና ጅራት እየበላ መሐሉን ብቻ ነው የሚያደርሰው።

«... ማማ ወደቀ ... ከትናንት ጀምሮ ድምፅ የለ ... የሚያነሳ ሰው ይዘሽ ነይ ...»

ከዚያ ተቋረጠ።

እናቴን እማማ ነው የምላት። የጎደለውን ፊደል ራሴ ሞላሁት። እማማ ወደቀች፤ ድምፅ የላትም። «የሚያነሳ ሰው» የሚለውን መሙላት እንኳ አላስፈለገኝም፤ ሬሳ የሚያነሳ ማለቱ ነው። ሥራዬን ጥዬ ወደ ደጅ ወጣሁ።

መልሼ ብደውል አይሠራም። የሱቁ ስልክ ጭራሽ አይጠራም። መካነ ብርሃን የሚያስተምር የአክስቴ ልጅ አለ፤ ለእሱ ደወልሁ። እያለቀስሁ ስለነበር ምን እንዳልሁት እንጃ። «ደህና ናት እኮ፤ ምንም አልሆነችም፤ አትደንግጪ» አለኝ።

ይህን ሲለኝ ነው ያበቃልኝ። እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚይዝሽ ሰው ባለበት፣ በጠዋት ነው የምትረጂው። እስከዚያ ድረስ የሞተው ሰው ወይ ትንሽ አሞታል፣ ወይ ደህና ነው። ታዲያ በእውነት ደህና የሆነ ሰው ምን ሊባል ነው? «እውነቱን ንገረኝ» አልሁት። «እውነቴን ነው፤ ቅዳሜ ገበያ አይቻታለሁ፤ ሸጋ ናት» ብሎ በእናቱ ሲምልልኝ ደግሞ ባሰብኝ። የሚደብቀው ነገር ከሌለ ምን ያስምለዋል?

ፀዳ ሰፈር፣ ቤቴ ስደርስ ለጎረቤቴ ነገርኋት። በዕድሜ የምትበልጠኝ፣ ከልቅሶ ቤት የማትጠፋ ሴት ናት። የሰማሁትን ሁሉ ደገምሁላት።

«ደህና ናት አሉሽ?» አለችና አቀረቀረች። ከዚያ ጥቁር ልብሷን ፍለጋ ወደ ቤቷ ሄደች።

በማግስቱ ማለዳ ጎረቤቶቼ ሚኒባስ ሞልተው ይዘውኝ ተነሡ። መንገድ ላይ ኮሶዬ ሲደረስ ሁልጊዜ ወርዶ ቁርስ ይበላል፤ ያን ቀን ሾፌሩ ሳይጠይቀን አለፈ። መርዶ አልተነገረኝም፤ አልሞተችም ብሎ አፉን ሞልቶ የሚያሳምነኝም የለም። ማልቀስ ይገባኝ እንደሆነ ሳላውቅ አለቀስሁ። ደባርቅን ስናልፍ ቃል አውጥቼ ሙሾ ጀመርሁ። ትምህርት እንዳላቋርጥ ብላ የእኔን ሥራ ሁሉ በላይዋ ላይ እንደደረበችው፣ አባቴ ሊድረኝ ሲነሣ መሐል ገብታ እንደቆመች፣ ሰው ያደረገችኝ እሷ እንደሆነች፣ ከእሷ ሌላ የምመካበት እንደሌለኝ፣ ሁሉንም አልሁ። መኪናው ውስጥ ያለው ሁሉ ይነፋረቅ ጀመር።

መንደሩ ስንደርስ፣ ወግ ነውና፣ ገና ከሩቁ እሪ አልን። ከየቤቱ ሰው ወጣ። አንዲት ሴት ከቤታችን ጓሮ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን እየደቃች ወደ እኛ ሮጠች። እናቴ ናት። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች።

ያኔ የተሰማኝን ዛሬም በቅጡ ልናገረው አልችልም። ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ እሷ እንዲህ የምታለቅሰው አጎቴ ሞቶ ነው ብዬ እንደ አዲስ ጮኽሁ። ወዲያው አጎቴ ከሰዉ መሐል እንባውን እየጠረገ ብቅ አለ። እሱም ያለቅሳል። መንደሩ በሙሉ ያለቅሳል፤ ማን እንደሞተ የሚያውቅ ግን አንድም የለም። እያለቀሰ የመጣን ሰው «ማን ሞተ?» ብሎ ማስቆም ነውር ነው። መጀመሪያ አብሮ ይለቀሳል፤ ጥያቄው ቀስ ብሎ ይመጣል።

«ማንን አጣን ልጄ?» አለችኝ እናቴ በመጨረሻ።

«አንቺን» አልኋት።

እጇን ከአንገቴ ላይ አንሥታ አየችኝ። አጎቴ ቀረብ ብሎ «ምነው? ማን ነው እንዲህ ያለሽ?» አለኝ።

«አንተው ነህ እንጂ አያ። እማማ ወደቀች፣ ድምፅ የላትም አላልኸኝም?»

አጎቴ ወደ ጉብታው አመለከተ። ግንዱ ከነሳህኑ መሬት ላይ ተጋድሟል። የመንደሩ ሰው ገብሱን ከዝንጀሮ የሚጠብቅበትን ከፍ ያለ የእንጨት መቆሚያ ማማ ይለዋል፤ ለካ የስልኩን ግንድም ማማ ብሎት ኖሯል። እኔ ጎንደር ተቀምጬ ይህን ማን ነግሮኝ?

«ማማው ወደቀ፣ ስልኩ ድምፅ የለውም ነው ያልሁሽ» አለ። «የተከሉት ልጆች እዚያው ጎንደር ስለሆኑ የሚያነሳ ሰው ይዘሽ ነይ ብዬ።» ከዚያ ጥቁር የለበሱትን ጎረቤቶቼን ዞሮ አያቸው። «እነዚህ ናቸው የሚያነሱት?»

ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን መሳቅም አቃተኝ፤ እናቴን በእጄ ይዣት እንኳ ልቤ ገና አላመነም ነበር። በቁሟ የተለቀሰላት ሰው ዕድሜዋ ይረዝማል እያሉ ዶሮ ታረደ። ምግብ ላይ ሳለን እናቴ ወደ ጎረቤቴ ዞር አለች።

«ለመሆኑ ልጄ ምን ብላ አለቀሰችልኝ?»

ጎረቤቴ እኔን አየችኝ። «እሷው ትንገርሽ» አለች።

ውኃ ላምጣ ብዬ ተነሥቼ ወጣሁ። ለመኪናው ሁሉ ጮክ ብዬ የተናገርሁትን፣ እሷ በሕይወት ፊቴ ተቀምጣ ስትጠይቀኝ መድገም አቃተኝ። አፈርሁ። ሰው በዚህ እንዴት ያፍራል? እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ወደ ጎንደር እንደተመለስሁ ልጆቹን ፈልጌ ነገርኋቸው፤ ሄደው ማማውን አቆሙት። በዚያው እሑድ ከቅዳሴ መልስ እናቴ ደወለች። ገብሱን ጠየቅኋት፤ ላሟንም ጠየቅኋት።

«አሁንስ ሸጋ ይሰማል» አለችኝ። «ያን ቀን ምን ብለሽ ነው ያለቀስሽልኝ ልጄ? እዚህ የሚነግረኝ አጣሁ። እስቲ አንቺው በይኝ።»

ትንፋሿ እንኳ ሳይቀር ይሰማኝ ነበር።

«እማማ» አልኋት፣ «ድምፅሽ እየተቆራረጠ ነው። አይሰማኝም።»