የአያ ደምሴ ቡፌ

ትናንት ልጄ ግድግዳ ላስቀባ ብላ የሳሎኑን ቡፌ ከቦታው አስነሳችው። ከተዳርሁ ጀምሮ ከዚያ ግድግዳ ተላቅቆ አያውቅም። የጀርባውን አቧራ ስትጠርግ ድንገት «እማዬ፣ ነይ እስቲ!» ብላ ጮኸች። እባብ ያየች መስሎኝ ሮጥሁ።

ያየሁትን ከመናገሬ በፊት ስለ ቡፌው ላጫውታችሁ። ለሠርጌ የሠሩልኝ የቡሬው አናጺ አያ ደምሴ ናቸው። ሙያውን የተማሩት በወጣትነታቸው ደብር ለደብር እየዞሩ የቤተ ክርስቲያን በርና መንበረ ታቦት ሲቀርጹ ነው፤ እጃቸው ሌላ አያውቅም። አባቴ ይህን ሳያስብ «ለልጄ ያማረ ይሁን» ብሎ የዋንዛ ሳንቃ አስረከባቸው።

ወሩ ጥር ነው። ፍኖተ ሰላም ያለው ግቢያችን ጌሾ ጌሾ ይሸታል፣ ዳሱ ተጥሏል። ቡፌው በጭነት መኪና አቧራ ለብሶ መጣ። አያ ደምሴ ራሳቸው ሸራውን ሲገልጡት እልልታው መሀል ላይ ተቋረጠ። አናቱ ባለ መስቀል ጉልላት፣ በሮቹ እንደ ብራና ጌጥ የተቀረጸ ሐረግ በሐረግ! ሁላችንም ክው አልን። አክስቴ ጫማዋን አውልቃ መሬት ሳመች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። እኔ ግን እንዲያ ያለ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም።

የነፍስ አባታችን መምሬ ጥበቡ አማተቡ። «አያ ደምሴ፣ ምን አመጡብን? ይኸ እኮ መንበር ነው! ጠላ ከሚጠጣበት፣ ሰው ከሚተኛበት ቤት እንዴት ይቆማል?»

«አባቴ፣ እኔ የማውቀው ይኸንኑ ነው» አሉ አያ ደምሴ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። መስቀሉን ነቅለው ለመምሬ ሰጡ፤ ጉልላቱን በመጋዝ ቆረጡት። ከዚያ መሮና መላጊያቸውን አወጡና በሮቹን ይልጉ ጀመር።

«አያ፣ አንዲት ሐረግ እንኳ ይተዉልኝ!» ብዬ እጃቸውን ያዝሁ። ሙሽራ እንዲህ አትጮኽም፤ ሰው ሁሉ አፈጠጠብኝ። እሳቸው ቀና ብለውም አላዩኝ። ክረምቱን ሙሉ የለፉበት ነገር ፍቅፋቂ ሆኖ እግራቸው ሥር ተከመረ። እሳቸው አላለቀሱም፤ ያለቀስሁት እኔ ነኝ።

ልሙጡን ቡፌ እኔ ወደምገባበት ቤት ራሳቸው ወሰዱት። «ላስተካክለው» ብለው በር ዘግተው ቆዩበት አሉ፤ ምሳ እንኳ ሳይቀምሱ ወደ ቡሬ ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ሐረግ መቅረጽ ተዉ፤ ልሙጥ አልጋና ወንበር ብቻ ይሠሩ ነበር። እኔም ልመናዬን እንዳልሰሙ ማለፋቸው አንገብግቦኝ፣ ቡሬ በሄድሁ ቁጥር ደጃቸውን ሳልረግጥ አልፍ ነበር።

ትናንት ልጄ ጣቷን የቀሰረችው ከቡፌው የጀርባ ሳንቃ ላይ ነው። መዳፍ የምታህል ሐረግ አለች፤ ጥርት ያለች፣ መላጊያ ያልነካት። የቡፌ ጀርባ ደግሞ ማንም አይቀርጽም። ቁጭ ብዬ ሐረጓን በጣቴ ዳሰስኋት።

አያ ደምሴ ከሞቱ ቆይተዋል። ለካ ያን ቀን ስጮኽ ሰምተውኝ ኖሯል።